በዱባዎቹ መካከል የተቀመጠው ሰው

አርሞን ቴሲዬ ሞቶ ግማሽ ቀንና አንድ ሙሉ ሌሊት በገዛ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሲያድር አንድም ሰው አላወቀለትም። እንዴትስ ይታወቃል? አሜሪካውያን በጭንብልና በአሻንጉሊት ሬሳ በሚቀልዱበት በሃሎዊን ዕለት ብሩክሊን ውስጥ ሬሳ ያልተቀመጠበት ደጅ የለም። ፊቱ ላይ የአጽም ጭንብል፣ ጭኑ ላይ የከረሜላ ሳህን፣ ግራና ቀኙ ዱባ። ሕፃናቱ እየተሳሳቁ ከጭኑ ከረሜላ ዘገኑ። አንዷ እናትማ ልጇን አጠገቡ አስቀምጣ ፎቶ አነሣች፤ ፎቶው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል።

በማግሥቱ ጠዋት ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ሃክስቢ መተላለፊያ የዘጋባቸውን «አሻንጉሊት» ገፋ ሊያደርጉ ወርደው እጁን ያዙ። ጩኸታቸው መንደሩን በሙሉ ከአልጋው አወረደው።

መርማሪ ኮርደል ዊትፊልድ ሲደርስ የሟቹ ወንድም ጎንትራን በድንጋጤ እንግሊዝኛው ጠፍቶት በፈረንሳይኛ ብቻ ያለቅስ ነበር። ስለዚህ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖረውን ኦዲል ኬርጋን አስጠራት። ኦዲል ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ብረስት በምትባለው የፈረንሳይ ወደብ ሃያ ስድስት ዓመት መርማሪ ዳኛ ሆና ሠርታለች። ጡረታ ወጥታ እዚህ ልጇ ዘንድ ከመጣች አራት ዓመት ሆናት።

ጭንብሉ ተነሥቶ የአርሞንን ፊት ስታይ እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። ወዳጇ ነበር። እሑድ እሑድ እሱ በሚጋግርበት ዳቦ ቤት ጓዳ ተቀምጠው አሜሪካንን ሲያሙ ይውሉ ነበር። ዳቦው እንደ ስፖንጅ ተጨምቆ መልሶ ማበጡን፣ አይቡ ከቆርቆሮ መረጨቱን፣ ሰው ሁሉ እየሮጠ መብላቱን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በአሥራ አንድ ሰዓት እራት መቅረቡን፣ በብርድ ወር ውሃ ከነበረዶው መምጣቱን። ሐሜቱ ሲያልቅ አርሞን ይስቅና «ግን አየሽ፣ ስትታመሚ ስምሽን የማያውቅ ጎረቤት ሾርባ ይዞልሽ ይመጣል» ይላት ነበር።

«ከኋላ ነው የተመታው» አለ ዊትፊልድ። «በሚስቱ የብረት መጥበሻ። ታጥቦ ተሰቅሏል፤ እጀታው ሥር ግን ደም ቀርቷል። ወይዘሮ ሃክስቢ በስምንት ሰዓት ተኩል ጩኸት ሰምተዋል፤ ከዚያ ዱብ ያለ ነገር። ሚስትየው ዶሪን ጠዋት ተጣልታዋለች። ከሰዓት በኋላ ዱባ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ነበር ትላለች፤ ያያት ግን የለም። ምን ቀረ ዳኛ? ይዣት ልሄድ ነው።»

ኦዲል ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ደስ አላት። አርሞን ከሁለት ዓመት በፊት ዶሪንን ካገባ ወዲህ የፈረንሳዩ ዳቦ ቤት መስኮት በቅመም በታሸ የዱባ ኬክ ተሞልቶ ነበር፤ ኦዲል ደግሞ ሴትየዋን ካየቻት ጀምሮ ዓይኗ አልፈቀዳትም።

ግን ይህችን ደስታ ታውቃታለች። ብረስት ውስጥ ሮዘን የምትባል አፈኛ ዓሣ ሻጭ ነበረች። በነፍስ ግድያ ተጠረጠረች፤ ማስረጃው ገጠመ፣ ኦዲልም ሴትየዋን ጠላቻት፣ ወህኒ ሰደደቻት። ሮዘን እዚያው ሞተች። በሃያኛው ቀን ሌላ ሰው ገዳዩ እኔ ነኝ ብሎ መጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለሮዘን ግን ንጋቱ ዘገየባት። ከዚያ ወዲህ ኦዲል ብቻዋን ሆና አታውቅም። ገበያ ስትሄድ፣ ልብስ ስታጥፍ፣ አንዲት ሴት ከጀርባዋ ቆማ የምትተነፍስ ይመስላታል። እነዚህ አሜሪካውያን መንፈስ ከሱቅ ገዝተው ዛፍ ላይ ይሰቅላሉ፤ የእሷ ሳትገዛው ባሕር ተሻግሮ ተከትሏት መጥቷል። አሁንም ማጅራቷ ቀዘቀዘ።

«አንድ ሰዓት ስጠኝ» አለች።

«ለትርጉም ነው የጠራሁዎ እኮ!»

«እኔም ልተረጉምልህ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ደረጃው ላይ ቆማ ተመለከተች። በየእርከኑ የክሪዛንቴም አበባ ከነማሰሮው ተደርድሯል፤ ሁሉም ብጫና ብርቱካናማ ነው። ከሟቹ እግር ሥር ያለው አንዱ ብቻ ነጭ ነበር።

ዶሪን ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«ደስ አለሽ አይደል?» አለቻት። «ከመጀመሪያውም አትወጂኝ።»

«አልወድሽም። ስለዚህ አጥርተሽ ንገሪኝ። ማታ ስትመለሺ ደጅ ላይ አላየሽውም?»

«አየሁታ! የወይዘሮ ሃክስቢ አሻንጉሊት መሰለኝ። በየዓመቱ አንድ ያስቀምጣሉ። እንዲያውም…» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንዲያውም የዘንድሮው ሰው አይመስልም ብዬ ሳቅሁ።»

«ሌሊት አልገባ ሲልስ?»

«ዳቦ ጋጋሪ አይደል? ሌሊቱን እምድጃው ዘንድ ነው የሚያነጋ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«ለአንድ ቀን ጭንብል አድርግልኝ ብዬው ነዋ! በእኛ አገር በዚህ ሳምንት ሙታን ይጎበኛሉ እንጂ አይቀለድባቸውም አለኝ። ተናደድሁ፤ ሳህን ሰበርሁ። በቃ ይኸው ነው።»

«ነጩን አበባ የገዛሽው አንቺ ነሽ?»

«ነጭ? እኔ ነጭ አልገዛሁም። የሃክስቢ ይሆናል።»

ከዶሪን ራስ በላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በፊታችን እሑድ ላይ በቀይ «ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ መመለሻ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ወይዘሮ ሃክስቢ ሲጠየቁ ደረታቸውን ደቁ። «እኔ? እኔማ አሻንጉሊቱም አበባውም የዶሪን ነው ብዬ! ዘንድሮ ወገቤን ይዞኝ አንዲት ዱባ እንኳ አላወጣሁም። ጩኸቱ? የወንድ ይሁን የሴት በምን ልለየው፣ ቴሌቪዥኔ እየጮኸ! ሰዓቱን ግን አልሳሳትም፤ ተከታታይ ድራማዬ ሲጀምር ነው። ስምንት ተኩል።»

ጎንትራን ሳሎኑ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ነበር። ከወንድሙ ጋር ሃያ ዓመት አንድ ምድጃ ላይ ሠርቷል።

«ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መናፈሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ ለእናቴ ስደውል ነበር፣ ማዳም። ስልኩን ስታነሣ እዚያ ፈረንሳይ የምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና ጀመረ፤ ሙዚቃውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዜናው ሲያልቅ ተሰናበትን።»

«ስልክህ የታለ?»

«ማታ ባቡር ውስጥ ሰረቁኝ።»

ዊትፊልድ ትከሻውን ነቀነቀ። «የጥሪው መዝገብ ሰኞ ይደርሰኛል። እናትየውን እርስዎ ይጠይቁልኝ።»

ጎንትራን የኦዲልን እጅ ያዘ። «ስለ አርሞን አይንገሯት፣ እባክዎ! ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። እኔው በገዛ አፌ እነግራታለሁ።»

ኦዲል ደወለች። የእማማ ሶአዚግ ድምፅ ቀጭን ቢሆንም ንቁ ነበር።

«ጎንትራን? አዎ፣ ትናንት ደውሏል። የሁለት ሰዓቱ ዜና ሲጀምር፣ እስኪያልቅ ድረስ። ልክ ነው» አሉ፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ትምህርቱን እንደሸመደደ ተማሪ። ከዚያ ድምፃቸው ላላ። «እሑድ ሰዓቱን መለሱት አይደል ልጄ፣ ዶሮዎቼ ግራ ተጋብተው ሳይመሽ ቆጥ ይወጣሉ። ጎንትራን ለገና ጠቅልሎ ይመጣልኛል። አርሞንማ የሽማግሎች ቤት ግቢ እያለ ነፍሴን አወጣት። ደህና ናቸው ልጆቼ?»

 «ያስቡልዎታል፣ እማማ» ብላ ኦዲል ስልኩን ዘጋች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ዋሽቷታል፤ እንደዚህ ዋሽታ ግን ያፈረችበት ቀን አልነበረም።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዊትፊልድ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«በዚህ ደጅ ላይ ለአንድ ቀን ባለቤት ያጡ ሁለት ነገሮች ነበሩ» ብላ ጀመረች። «አንዱ ሬሳው ነው። ዶሪን የሃክስቢ ነው አለች፤ ወይዘሮ ሃክስቢ የዶሪን ነው አሉ። ሁለተኛው ነጩ አበባ ነው። እሱንም እንዲሁ ተገፋፉት። እናንተ በመከር ክሪዛንቴም ለጌጥ ደጅ ላይ ትደረድራላችሁ። እኔ እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት መንደሩ ሁሉ ሐዘን የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። በእኛ አገር ክሪዛንቴም ለሕያው ሰው አይሰጥም። እራት ተጋብዘሽ ይዘሽ ብትሄጂ ባለቤቶቹ ያባርሩሻል። በዚህ ሳምንት ለመቃብር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ነጩን ያኖረው ሰው ከጭንብሉ ሥር ያለው ሞቶ መቀመጡን ያውቃል። አዝኖለታልም። ፈረንሳዊም ነው።»

«ፈረንሳዊት እርስዎም አሉ» አለ ዊትፊልድ።

«ልክ ነህ። እኔ በስምንት ሰዓት ተኩል የጥርስ ሐኪም ፊት አፌን ከፍቼ ነበር። ጠይቅ።»

ጎንትራን ብድግ አለ። «እኔስ? እናቴ ነግራዎታለች አይደለም እንዴ!»

«እናትህ በይ ያልካትን ነው የነገረችኝ። በዚህና በፈረንሳይ መካከል ስድስት ሰዓት እንዳለ እኛ ስደተኞቹ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላችን ይዘነዋል። አንተም ለስምንት ሰዓት ምስክር ስትፈልግ ስድስት ደመርህና የምሽቱን ሁለት ሰዓት ዜና አገኘህ። ግን ሁለቱም አገሮች በየመከሩ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እዚያ የተመለሰው ባለፈው እሑድ ነው፤ እዚህ የሚመለሰው የፊታችን እሑድ ነው። በያዝነው ሳምንት ልዩነቱ አምስት ብቻ ነው። በእውነት በስምንት ሰዓት ደውለህ ከሆነ እናትህ ቤት ገና ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ ዜና የለም። የዜናውን ሙዚቃ ሰምተህ ከሆነ ደግሞ እዚህ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በዘጠኝ ሰዓት አርሞን ሞቷል። የምትለው የትኛውን ነው?»

ጎንትራን ተመልሶ ተቀመጠ።

«የእናታችንን ቤት ሊሸጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሳይነግራት ፈርሟል። ወረቀቱን እየሳቀ አሳየኝ። አንተ መቼም አትመለስም፣ ምን ያደርግልሃል አለኝ። መጥበሻው እጄ ሥር ነበረ። ከዚያ ፊቱን ማየት አቃተኝ። ጭንብል አለበስሁት… ደጅ ሳወጣው መንገደኛው ሁሉ ፈገግ እያለ አለፈ። አንዱማ "ጎበዝ፣ የዘንድሮው ቆንጆ ነው" አለኝ።»

ወይዘሮ ሃክስቢ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

«ዶሪን ልትታሰርልህ ስትል ዝም አልህ» አለች ኦዲል።

«ዝም አልሁ።»

ዊትፊልድ ካቴናውን አወጣ። ዶሪን አላለቀሰችም። ቆማ ኦዲልን ብቻ ታይ ነበር።

«ጠዋት ስምሽን ሲጠሩት ደስ ብሎኝ ነበር» አለቻት ኦዲል። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ደስ ካለሽ ለምን አልተውሽኝም?»

«አንድ ጊዜ ትቼ አውቃለሁ።»

ዶሪን ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

ጎንትራን ለእናቱ ሊደውል ከበሩ ላይ ዞረ። ዊትፊልድ ስልኩን ሰጠው፤ ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ነክቶ ተወው። «አልችልም፣ ማዳም» አለ። ኦዲል ስልኩን ከእጁ ወስዳ ቁጥሩን ጨረሰችው።

«የቅድሟ ሴት ነሽ?» አሉ እማማ ሶአዚግ።

«ነኝ፣ እማማ። ቁጭ ይበሉልኝ።»

ከውቅያኖሱ ማዶ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። 

«ተቀምጫለሁ። ስለ የትኛው ልጄ ነው?»

ፈረንሳይኛ አንድ ቃል የማታውቀው ዶሪን የኦዲልን ፊት አይታ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

«ስለ ሁለቱም» አለች ኦዲል።