ምንም አልተገኘም

በአረፋ ማግስት ጠዋት በፍቃዱ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ሄድፎኑ ከጆሮው ላይ አልወረደም። ራሱን ወደ ጠረጴዛው ዘንበል አድርጎ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራውን ሰው ለመስማት የሚጥር ይመስል ነበር።

ኢንስፔክተር ማሂራ ከአውቶቡስ ተራ በኩል በእግሯ መጣች። በዚህ ሰዓት መኪና ይዞ መርካቶ የሚገባ ሰው ከእግረኛ ኋላ ይደርሳል። ሕንፃው ከዱባይ ተራ እልፍ ብሎ ያለ ባለ አራት ፎቅ ነው። ከሥሩ ጁስ ቤት፣ ከዚያ በላይ የሻንጣና የጫማ ማከፋፈያ፣ ከሁሉም በላይ የእሳት አደጋ አጣሪ ቦርዱ ጊዜያዊ ቢሮ አለ። የጁስ ቤቱ ማሽን አቮካዶ እየፈጨ ይጮኻል። ደረጃው ላይ ነጠላዋን ያጣፋች ሴት ተቀምጣለች። ማሂራን ስታይ ብድግ አለች።

«ልጄ፣ ፖሊስ ነሽ አይደል? ላይ ምን ተፈጠረ? አናስገባም አሉኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት እናቴ?»

«ሠርኬ እባላለሁ። የአሸብር እናት ነኝ፣ የታሰረው ኤሌክትሪሺያን።»

ማሂራ ስሙን ታውቀዋለች። ከጥቂት ወራት በፊት ከዱባይ ተራ ጀርባ አንድ የገበያ ሕንፃ ተቃጥሎ ሰው ሞቷል። የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን አሸብር «ገመዱን በደንብ አልሠራህም» ተብሎ ታሰረ። እሱ ግን «ገመዱ እንደሚግል ለሕንፃ ተቆጣጣሪዎቹ ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ አለ» ይላል። ግሩፑ ተዘግቷል። የቀረው አጣሪ ቦርዱ በአንድ ሃርድ ዲስክ ያስገለበጠው ቅጂ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ፈልጎ እንዲያወጣ የተመደበው ደግሞ በፍቃዱ ነበር። የአሸብር ማስጠንቀቂያ ከተገኘ ይፈታል። ካልተገኘ ነገ ክስ ይመሠረትበታል።

«በፍቃዱ የሚባል ልጅ ነው የሚፈልግልኝ» አለች ሠርኬ። «ጠዋት ጠዋት ሲገባ ‹አይዞዎት እትዬ› ይለኛል። ዛሬ አላየሁትም። ደህና ነው?»

ማሂራ «እዚሁ ይቆዩኝ» ብላት ወጣች።

ላይኛው ኮሪደር ጨለማ ነበር፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ኮንስታብል መስፍን በስልኩ መብራት እየመራ አስገባት።

«ጉዳዩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር። ትናንት መብራት ሲሄድበት ጀነሬተሩን ከበረንዳ አምጥቶ ኮሪደር ውስጥ አስነሣ። ጩኸቱ ሲያስቸግረው በሩን ዘጋ። ጭሱ ገደለው። በዓል ስለነበር ሕንፃው ውስጥ የሚደርስለት ሰው አልነበረም።»

ጀነሬተሩ ከበሩ ሥር ተቀምጧል፤ ነዳጁን ጨርሶ ነው የቆመው። ከእሱ የወጣው የፕሮሎንጋ ገመድ በበሩ ሥር አልፎ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል። በረንዳው ላይ የሚታሰርበት ሰንሰለት አልተሰበረም፤ በቁልፍ ነው የተከፈተው።

ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ አስከሬኑን ያገኙት ሽማግሌው የጥበቃ ሠራተኛ ጠይብ ናቸው። ሁለተኛዋ የበፍቃዱ የሥራ ባልደረባ ካሚላ ናት። የቢሮው አስተባባሪ ይገረም ደረጃው አድክሞት እያለከለከ ገና መድረሱ ነው።

«ምን ዓይነት ቀን ነው!» አለ በመሐረብ ፊቱን እየጠረገ። «ለቦርዱ ልደውል።» የራሱን ቢሮ ከፍቶ ገባ።

ወዲያው የኮሪደሩ አምፖል ብልጭ ድርግም ብሎ በራ።

«መብራት መጣ!» አሉ ጠይብ።

«መጣ» አለች ካሚላም።

መስፍን የስልኩን መብራት አጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖልም በራና ነጭ ብርሃን በሟቹ ፊት ላይ ወደቀ። ካሚላ ጮኸች። ሁሉም ወደ እሷ ሲያይ ማሂራ ብቻ ወደ ደረጃው ዞረች። ከታች የጁስ ማሽኑ እንደ ቀድሞው ይጮኻል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጠይብን ነበር።

«የጀነሬተሩ ቁልፍ የት ነው የሚቀመጠው ጋሼ?»

«ከወንበሬ በላይ ምስማር ላይ። የማያውቀው የለም፤ ድመቷም ታውቃለች።»

«ትናንትስ?»

«አረፋ አይደለም እንዴ! ሶላት፣ ከዚያ እርድ፣ ከዚያ ዘመድ። በፍቃዱ ‹ቀጠሮው ደርሷል፣ ብቻዬን እገባለሁ› አለኝ። ‹አንተ ሰው፣ በዓል እንኳ አታርፍም?› ብለው ‹የእኔ በዓል አይደለም ጋሼ› ብሎ ሳቀብኝ።» ሽማግሌው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያንን ብረት እንዴት ተሸክሞ አመጣው? ወገቡን ያመዋል እኮ። የውኃ ጀሪካን እንኳ የማነሣለት እኔ ነበርኩ።»

መስፍን ወደ ማሂራ ጠጋ አለ። «ቁልፍ እንዲህ መተው ቸልተኝነት ነው። ልያዛቸው?»

«ቆይ እስቲ።»

ካሚላ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷታል።

«ትናንት እዚህ መጥተሽ ነበር?»

«እኩለ ቀን ላይ መጣሁ። የሙሸበክ ጣፋጭ አመጣሁለት።»

«በአረፋ ሥጋ አይደለም የሚመጣው?»

«የእኛን ሥጋ መች ይበላል! እኔስ የእሱን መች እበላለሁ! ‹ሙሸበክ ግን ሃይማኖት የለውም› ይለኝ ነበር።» ልትስቅ ጀምራ አለቀሰች።

«ስትመጪ መብራት ነበር?»

«ነበር። ጀነሬተሩም በረንዳው ላይ እንደታሰረ ነው።»

«ምን ያዳምጥ ነበር? ፍለጋው አላለቀም እንዴ?»

«ወረቀት ላይ አልቋል። የተቃጠለውን ሕንፃ ስም መፈለጊያው ላይ ሲጽፍ ‹ምንም አልተገኘም› ይላል። የአሸብርን ስም ሲጽፍ ‹ምንም አልተገኘም›። በፍቃዱ ግን አላመነም። ‹ካሚላ፣ እነዚህ ሰዎች ስለ መርካቶ ሕንፃ ሁሉ ያወራሉ። የተቃጠለው ብቻ ስሙ አንድ ቀን እንኳ አልተነሣም? ይሄ አለመኖር አይደለም፣ መነቀል ነው› አለኝ።»

«ማን ሊነቅለው ይችላል?»

«የይለፍ ቃሉ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል፤ ይኸው። በፍቃዱም እኔም ጋሽ ይገረምም በእሱ ነው የምንገባው። ማን ምን እንደሠራ ማሽኑ አይለይም።»

«እና ሄድፎኑ?»

«የድምፅ መልእክት ነዋ። ሰዎቹ ግማሹን ነገር አይጽፉም፤ ስልኩን አፋቸው ላይ ደቅነው ይናገራሉ። ኤሌክትሪሺያን መሰላል ላይ ቆሞ ምን ይጽፋል? ድምፅ ደግሞ በፍለጋ አይወጣም። ስም ቢጽፉለት አያውቅም። አንድ በአንድ መስማት ነው፤ ስንት ሺህ!»

«ድምፅ መስማት እንደጀመረ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ። ጋሽ ይገረምም ያውቃሉ። በዋዜማው ተጨማሪ ቀን ጠይቋቸው ከለከሉት።»

የይገረም ቢሮ ንጹሕ ነው። ከበሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የፎቁ የመብራት ብሬከር ሳጥን አለ። ማሂራ ከሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ትናንት የት ነበሩ አቶ ይገረም?»

«ቤቴ፣ ኮልፌ። ቀኑን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም።»

«ፍለጋው ምን ላይ ደረሰ?»

«አልቋል። ደብዳቤው ለቦርዱ ተልኳል፤ ምንም አልተገኘም። የሌለ ነገር አይገኝም። ልጁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግትር ነበር። መብራት በሌለበት ምን ያስቸኩለው ነበር?»

«ከዚህ በፊት የት ይሠሩ ነበር?»

«የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል።»

«አሁን ጉዳያቸው የሚጣራው ተቆጣጣሪዎች ዘንድ?»

«ልምድ ስላለኝ ነው የተመደብኩት!» አለ ቆጣ ብሎ።

«ልክ ነው። የዚህን ቢሮ ቁልፍ ሌላ የያዘ ሰው አለ?»

«ማንም። ምስጢር ያለበት ቢሮ ነው።»

ማሂራ አመስግና ወደ ታች ወረደች። ጁስ ቤቱ ውስጥ አሚር የሚባል ወጣት ማንጎ ይልጣል።

«ከትናንት ወዲህ መብራት ጠፍቶባችኋል?»

«ኧረ አልጠፋም። ትናንት ዘግተን ነበር፣ ግን የጋሼ ጠይብ የአረፋ ሥጋ ፍሪጃችን ውስጥ ነው ያደረው። ይንኩት፤ ድንጋይ ሆኗል።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ማሽኑን እየሰሙት!»

ሠርኬ አሁንም ደረጃው ላይ ናት። ማሂራ ክንዷን ያዘች። «ይምጡ እትዬ። አብረን እንውጣ።»

አስከሬኑ ተነሥቶ ስለነበር ሁሉንም በፍለጋው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሠርኬ ባዶውን ወንበር ስታይ የሆነውን አወቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች እንጂ አልጮኸችም።

«እሷ ምን አግብቷት ነው የምትገባው?» አለ ይገረም።

«ከሁላችንም ይበልጥ ያገባቸዋል» አለች ማሂራ። «አሁን ስሙኝ። በፍቃዱ ጀሪካን የማያነሣ ሰው ነበር። ጀነሬተሩን ከበረንዳ ተሸክሞ አላመጣውም፤ ሌላ ሰው አመጣለት። ይህ አንድ።»

«ጎትቶት ይሆናላ» አለ ይገረም።

«ይሁን፣ ጎተተው እንበል። ለምን ይጎትተዋል? መብራት ስለሄደ። መብራቱስ ሄዶ ነበር? ዛሬ ጠዋት እኔ ስመጣ ታች የጁስ ማሽኑ ይሠራል፣ እዚህ ጨለማ ነው። መብራት ‹መጣ› ስትሉም ማሽኑ አልቆመም፣ አልተነሣም፤ ያው ነበር። ሕንፃው ከትናንት ጀምሮ መብራት አለው። የጠፋው ይህ ፎቅ ብቻ ነው። ጋሼ ጠይብ፣ መብራት የመጣው መቼ ነበር?»

ጠይብ አሰቡ። «እንግዲህ... ጋሽ ይገረም ከገቡ በኋላ።»

«የት ከገቡ በኋላ?»

«ቢሮአቸው።»

ካሚላ ቀስ ብላ ከይገረም አጠገብ ራቅ አለች።

«እኛ እንዲህ ነን» አለች ማሂራ። «መብራት ሲሄድ ማን አጠፋው አንልም። ሲመጣም መጣ ብለን ዝም ነው። ለምደነዋል። እርስዎም የተማመኑት ይህን ነው፣ አቶ ይገረም። ብሬከሩ ያለው እርስዎ ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፉ ያለው እርስዎ ኪስ ውስጥ።»

«ብሬከር ራሱ ይወድቃል! ወድቆ አገኘሁት፤ አነሣሁት። ወንጀል ነው?»

«ራሱ ወድቆ ቢሆን ያን ጊዜ ይናገሩ ነበር። ሁሉም ‹መብራት መጣ› ሲል እርስዎ ዝም አሉ። ከዚያም እኔን ‹መብራት በሌለበት ምን ያስቸኩለው ነበር› አሉኝ። መብራት የጠፋው በእርስዎ እጅ እንደሆነ እያወቁ።»

ይገረም መሐረቡን ፈለገ፤ እጁ ውስጥ ነበር።

«በዓሉ ሕንፃውን ባዶ እንደሚያደርገው ያውቃሉ» ቀጠለች። «ካሚላ ከሄደች በኋላ መጥተው ብሬከሩን አወረዱ። በፍቃዱም እንደ ሁላችን ‹መብራት ሄደ› አለ። ‹አንተ ሥራህን ቀጥል፣ እኔ አስነሣልሃለሁ› አሉት። ደግ አለቃ ማን ይጠረጥራል? ሄድፎኑን አጠለቀ። እርስዎ ጀነሬተሩን በሩ ሥር አስነሥተው ወጡ። ምክንያቱም የተጻፈውን ሁሉ ስም እየጻፉ፣ እያወጡ ነቅለውታል፤ ድምፁን ግን አላሰቡትም ነበር። በፍቃዱ አሰበው።»

«ራሱን ሲያመው ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነው» አለ ይገረም ድንገት። ድምፁ ቀጠነ። «ቀጠሮው እስኪያልፍ... አንድ ቀን እንዲተወው ብቻ...»

«መሄዱን ሊያዩ ተመለሱ?»

ይገረም ወደ በሩ ተራመደ። መስፍን እጁን ሲይዘው «ስለ መልእክቱ ምንም አልናገርም። ጠበቃ እፈልጋለሁ» አለ። በካቴና ወረደ። ጠይብም ከኋላቸው ወረዱ።

ሠርኬ እንደ ቆመች ነበር።

«እንግዲህ የነቀለው ከተያዘ፣ ልጄ ይፈታል አይደል?»

ማሂራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዲስክ አየች። «እትዬ ሠርኬ፣ ይህ ዲስክ ከአሁን ጀምሮ የግድያ ኤግዚቢት ነው። ይታሸጋል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ ማንም አይከፍተውም፣ እኔም ጭምር።»

«ነገስ?»

«የአሸብር ክስ እንዲቆይ ዛሬውኑ እጽፋለሁ። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። በቦርዱ እጅ ያለው ደግሞ ‹ምንም አልተገኘም› የሚለው ደብዳቤ ነው።»

«እኔ ልስማው» አለች ሠርኬ። «እዚሁ ቁጭ ብዬ ልስማው። ፊደል ገና አሁን ነው የምማረው፤ ለመስማት ግን ፊደል አያስፈልግም። ከሺህ ድምፅ መሐል የልጄን እለየዋለሁ። ልጄ፣ አንቺ እናት አለሽ አይደል?»

«አይቻልም እትዬ» አለች ማሂራ። ከዚያ ወደ ካሚላ ዞረች። «በፍቃዱ ሲሞት የደረሰበት የቱ ጋ ነው?»

ካሚላ የኮምፒውተሩን ገመድ ከፕሮሎንጋው ነቅላ ግድግዳው ላይ ሰካችና አስነሣችው። «ፕሮግራሙ ከቆመበት ነው የሚከፍተው። ይቺ ናት።»

«ከማሸጌ በፊት ስክሪኑ ላይ የነበረውን መመዝገብ አለብኝ። እሷን ብቻ።»

የሄድፎኑን ሽቦ ነቀለች። ካሚላ መልእክቱን ተጫነችው። የአንድ ጎልማሳ ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መሰላሉን ማን ነው የወሰደው? ፎቅ ላይ ቆመን ቀረን እኮ! መልሱልን እንጂ ወንድሞቼ!» ከኋላው ሰዎች ይስቃሉ። አለቀ።

ካሚላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ስለ መሰላል ነው። መሰላል!»

ሠርኬ አልተንቀሳቀሰችም። «ከኋላ የሚስቀው እሱ ነው» አለች።

«ማን?»

«አሸብር። ሲስቅ መጨረሻው ላይ ያስለዋል። ሕፃን ሆኖም እንደዚያው ነበር።» ወደ ማሂራ ቀና አለች። «ይሄ ይጠቅመዋል?»

ማሂራ ልትዋሽ አሰበች። ከአፏ አልወጣላትም። «አይጠቅመውም እትዬ። ሳቅ ብቻ ነው።»

«ይሁን። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

መስፍን ተመልሶ ማሸጊያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ማሂራ በእጇ «ቆይ» አለችው፤ ለካሚላም ራሷን ነቀነቀችላት። ሠርኬ ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አስጠጋች፤ ጠዋት በፍቃዱ ዘንበል ብሎ እንደተገኘው ሆነች። መሰላሉ እንደገና ተጠየቀ። ልጁ ሳቀ፣ ሳለ።

ከዚያ ዲስኩ ታሸገ።