የበሩ አልጋ

ሲስተር ሽታዬ የዱሬቲን አባት ሸሚዝ ገለጥ አድርጋ መርፌውን ሆዱ ላይ ስትወጋው ዱሬቲ የባዮሎጂ መጽሐፏን ዘጋች።

«ሲስተር፣ መድኃኒቱ ተቀየረ እንዴ?»

«የታዘዘውን ነው የምወጋው።»

«እስከ ትናንት መቀመጫው ላይ ነበር። ሆዱ ላይ ተወግቶ አያውቅም።»

«ተማሪ ነሽ አይደል? እንግዲያው አጥኚ።» ነርሷ ትሪዋን አንስታ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ከሴቶች ክፍል ተዛውራ የመጣችው ገና ዛሬ ነው፤ ለማንም እንደምን አደራችሁ አላለችም።

አባቷ ሸሚዙን እየቆለፈ ፈገግ አለ። «ይሄኛው አያምም» አላት በኦሮምኛ። «እግሬን ሲያስረኝ የነበረው የበፊቱ ነው። ተመስገን።»

ዱሬቲ ተመስገን አላለችም።

አባቷ ተሬፋ ሸነን የሚባል አገር ገበሬ ነው። የሳንባ ምች ጥሎት ጤና ጣቢያው ወደ መልካ ዲማ ሆስፒታል ላከው። እናቷ አማርኛ አትችልም፤ ታላቅ ወንድሟ ባኮ ከተማ የቀን ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ አስታማሚነቱ አምቦ ቤት ተከራይታ ለምትማረው ለዱሬቲ ደረሰ። የአስረኛ ክፍል ፈተና ተቃርቧል። «ሆስፒታል ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ እዚያው ታጠኚያለሽ» ብሏት ነበር ወንድሟ። ወንድሟ ሆስፒታል ተኝቶ አያውቅም።

በወንዶቹ ክፍል አስራ ሁለት አልጋ አለ። ከተኙት ውስጥ በሽታው ምን እንደሆነ በቅጡ የተነገረው የለም። የሚነገራቸው «ዋጥ»፣ «ተነሥ»፣ «ተገልበጥ» የሚል ብቻ ነው። የቀረውን እርስ በርሳቸው ይሞሉታል። አንዱ ደማችንን ይሸጡታል ይላል፤ ሌላው ተማሪ ሐኪሞች ይለማመዱብናል ይላል። ዱሬቲ በመጀመሪያው ቀን ይህን ስትሰማ ስቃ ነበር። አሁን ሳቋ አልመጣም።

ትናንት ቅዳሜ ማታ አባቷ አልጋ ቀይሯል። የእሱ አልጋ ስድስት ቁጥር ነበር፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ከመስኮቱ ስር ያለው። አንድ ቁጥር ደግሞ በሩ አጠገብ ነው፤ ነፋሱም፣ የመጸዳጃ ቤቱ ሽታም፣ የሚወጣውና የሚገባው ሰውም እዚያ አልጋ ላይ ነው የሚያልፈው። እዚያ የተኙት ኦቦ ቦጂያ የሚባሉ ጸጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። አባቷ ትንሽ መራመድ እንደቻለ አላስቻለውም።

«ሽማግሌ በር ላይ ተኝተው እኔ እዚህ ፀሐይ ልሙቅ? አገር ቤት ቢሰማ ምን እባላለሁ?»

ኦቦ ቦጂያ እንቢ አሉ፣ አባቷ ለመነ፣ እሳቸው መረቁ፣ በመጨረሻ ብርድ ልብሳቸውን ተቀያየሩ። ግድግዳው ላይ «አልጋ መቀያየር ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ለምን ክልክል እንደሆነ አልተጻፈም። ስለዚህ ሁሉም ዝም አለ፤ የቀየረ ይባረራል የሚል ወሬም ነበር።

የእሑዱ ቁርስ ዘገየ። ሲስተር ሽታዬ መርፌውን ወግታ ከሄደች በኋላ አባቷ ግንባሩን በእጁ መጥረግ ጀመረ። ከዚያ አንገቱ ራሰ። ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር።

«አባ፣ በረደህ?»

«በሬዎቹን ማን ፈታቸው?» አላት ግድግዳውን እያየ።

«የምን በሬ?»

«ማሳው ውስጥ ገብተዋል። ተነሽ፣ መልሻቸው እንጂ።»

ዱሬቲ ሮጣ ነርሶቹ ክፍል ሄደች። ማንም አልነበረም። ስትመለስ ኤቢሳ አልጋው አጠገብ ቆሟል። ኤቢሳ የኦቦ ቦጂያ የልጅ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከእሷ ጋር እኩል ነው፤ ወሬው ግን የሦስት ሰው ነው።

«አባትሽ ክፍሉን ማሳ አደረገው» አላት።

«ዝም በል። ያ የያዝከው ምንድን ነው?»

«ሚሪንዳ። የራሴ ነው ደሞ።»

ከእጁ ነጥቃ ጠርሙሱን ወደ አባቷ አፍ አስጠጋችው። አባቷ ጠጣ፣ አረፍ አለ፣ እንደገና ጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኖቹ ወደ እሷ ተመለሱ። «ለምንድነው የምታፈጡብኝ?» አለ።

«ስለ በሬዎቹ ነዋ» አለ ኤቢሳ።

ዱሬቲ ባዶውን ጠርሙስ ይዛ ቆመች። ከመርፌው በፊት ደህና ነበር። ከመርፌው በኋላ ዕብደት። ከሚሪንዳው በኋላ እንደገና ደህና። ነገሩ ደስ አይልም።

«ኤቢሳ፣ አያትህስ መርፌ ተወግተዋል?»

«ተወግተዋል። ዛሬ መቀመጫዬን ገደሉኝ እያሉ ሲረግሙ ነበር። ምን አሰብሽ?»

«ምንም። እነዚህ ሰዎች የሆነ ነገር እያደረጉ ነው።»

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ። ነርስ ናት፣ መርፌ ነው የያዘችው፣ ወጋች። በቃ።»

ማታ ሌላ መርፌ መጣ፣ እንደገና ሆዱ ላይ። ዱሬቲ ስለ ላቡና ስለ በሬዎቹ ለሲስተር ሽታዬ ነገረቻት። «ድካም ነው። በደንብ ይብላ» አለች ነርሷ፤ ስትናገር የምታየው ትሪዋን ነበር። ያን ማታ ዱሬቲ አባቷን እስኪቆጣ ድረስ አበላችው።

«ነገ ዶክተሩ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አለችው።

«ምን ብለሽ?»

«መርፌው ይጎዳዋል ብዬ።»

አባቷ ክንዷን ያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ሐኪም አስቆጥቶ የዳነ ሰው አላውቅም። ደግሞ ነገር ስትጎትቺ የአልጋው ጉዳይ ይነሣል፤ ሽማግሌውን አንሥተው እዚህ በር ላይ ይጥሏቸዋል። በእኔ የተነሣ ይዋረዱ? ዝም በይ።»

«እሺ» አለች፣ በግማሽ አፏ።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር ሽታዬ የአባቷን ጣት ወግታ ደሙን በትንሽ ማሽን ለካች። ዱሬቲ ምን እንደሆነ ጠየቀች። «ልኬት ነው» ተባለች። አባቷ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ጨርሶ ነበር፤ ዱሬቲ ናት ጨምራ ያጠጣችው።

ከዚያ ዘበኛው ኦቦ ጀቤሳ ዱላቸውን በሩ ላይ አግድመው ቆሙ። «ራውንድ ነው። አስታማሚ ውጪ። መርፌም ቁርስም ከራውንድ በኋላ።»

ሐኪሙ ሲጎበኝ አስታማሚ ክፍሉ ውስጥ አይቆምም፤ ደንብ ነው። የታመመው ሰው ምን እንደበላ፣ የት እንዳመመው፣ ምን እንደተናገረ የሚያውቁት ሁሉ ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ ውስጥ ሆኖ ወረቀት ያነባል። ቀጭን ወጣት ነው፤ መነጽሩን በየጊዜው በክንዱ ይገፋዋል። ስሙን የሚያውቅ አስታማሚ የለም። እሱም የማንንም ስም አይጠራም። በዚህ እኩል ናቸው።

ኤቢሳ በመስኮቱ በኩል ሊሰማ ወደ ጓሮ ዞረ። ዱሬቲ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አልጋ አንድ ከበሩ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው።

«አልጋ አንድ» አለ ሐኪሙ።

«ስኳሩ መቶ ሠላሳ» አለች ሲስተር ሽታዬ።

«ሲገባ ስንት ነበር?»

«ከአራት መቶ በላይ።»

«ጥሩ ወርዷል። ኢንሱሊኑ በዚሁ ይቀጥል።» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «አልጋ ሁለት።»

ዱሬቲ ጀርባዋን ከግድግዳው አላቀቀች። ኢንሱሊን። ለፈተናው በቃሏ የያዘችው ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ቢወጋው ምን እንደሚሆን መጽሐፉ ውስጥ አላነበበችም፤ ትናንት ግን በዓይኗ አይታዋለች። አባቷ የገባው በሳል ነው። ስኳር የሚባል ነገር ማንም አንሥቶበት አያውቅም።

በር አጠገብ በነበሩት በኦቦ ቦጂያ ሻይ ውስጥ ግን ስኳር እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ባለፈው ሳምንት የነበረችው ነርስ ለኤቢሳ «ስኳር እንዳትጨምርላቸው» ብላዋለች፤ ለምን እንደሆነ አላስረዳችውም። እሱም ሆስፒታሉ ስኳር ቢሰስት ነው ብሎ ሲቀልድ ነበር።

ኤቢሳ በሩጫ መጣ። ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«አካኮ ነገ ይወጣሉ። በጆሮዬ ሰማሁ። አልጋ ስድስት ትኩሳት የለውም፣ ሳሉ ጠፍቷል፣ ነገ ይሂድ አለ።»

«አያትህ መቼ ነው ያሳላቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ዳኑ ከተባለ ዳኑ ነው።»

«አሁን እንዴት ናቸው?»

«ተኝተዋል። ከትናንት ጀምሮ ውሃ ሲጠጡ፣ ሲሸኑ፣ ሲተኙ ነው። ጀሪካን ይዤ የምመላለሰው እኔ ነኝ።»

ዱሬቲ የሰማችውንና የገባትን ባጭሩ ነገረችው። አልጋው ተቀየረ፤ መድኃኒቱ ግን ከቁጥሩ ጋር እዚያው ቀረ። የአያቱን መርፌ አባቷ ይወጋል፤ የአባቷን አያቱ።

«አይሆንም» አለ ኤቢሳ። «ሐኪም እኮ ነው። አጠገባቸው ቆሞ ነበር።»

«አያቸው?»

«አልኩሽ እኮ፣ ከዚህ እስከዚያ ድረስ ነው የቆመው።»

«የት እንደቆመ አልጠየቅኩህም። ፊታቸውን አይቷል?»

ኤቢሳ ጫማውን አየ። «ወረቀቱን ነበር የሚያየው።»

ውስጥ ሐኪሙ ወደ ማዶው ረድፍ ተሻግሯል። አልጋ ሰባት ሲል ሰሙት።

«ስሚ ዱሬ» አለ ኤቢሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማታ ሲጨልም መልሰን እናቀያይራቸዋለን። አካኮ ወደ ቦታቸው፣ አባትሽ ወደ ቦታው። ነገ የሚወጣው አባትሽ ይሆናል። ማንም አያውቅም፣ ማንም አይባረርም። አሪፍ አይደለም?»

አሪፍ ነበር። ዱሬቲ እውነት ለመናገር ልቧ ወደዚያው አዘነበለ። አባቷ አይቆጣም። ሽማግሌው ፊት አይዋረድም። እሷም ሐኪም ፊት ቆማ ከተሳሳተች የሚመጣባትን ሳቅ አትሰማም። ነገ ከሰዓት አምቦ ናት፤ መጽሐፏ አለ፣ ፈተናዋ አለ።

«መርፌው ግን ከራውንድ በኋላ ነው» አለች። «ማታ አይደለም። አሁን ነው።»

«አንዷን ይችላታል። ሚሪንዳ እገዛለታለሁ።»

«አያትህስ? እሳቸው ከትናንት ጀምሮ የራሳቸውን አልተወጉም። እስከ ማታ ይችሉታል?»

ኤቢሳ በእጁ ባዶ ጀሪካን እንደያዘ ነበር፤ እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጦ አየው።

«ብትሳሳቺስ?» አለ በመጨረሻ።

«ከተሳሳትኩ ይሳቁብኝ።»

«እነሱ መሳቅ አይችሉበትም። ያባርሩናል።»

ዱሬቲ በኦቦ ጀቤሳ ዱላ ስር ጎንበስ ብላ ገባች። «አንቺ ልጅ፣ ተመለሺ» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። አባቷ ከትራሱ ቀና ብሎ ተመለከታት፤ ዓይኑ «ተይ» ይላል። እሷ አልጋውን አልፋ ሄዳ በክፍሉ መካከል፣ በሁለቱ ረድፍ መሐል ቆመች።

«አስታማሚ ውጪ» አለ ሐኪሙ ቀና ሳይል።

«ዶክተር፣ የአልጋ አንድን ስም ያንብቡልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለች ሲስተር ሽታዬ።

«ስሙን ብቻ። ከዚያ እወጣለሁ።»

ሐኪሙ ቀና አለ። መነጽሩ ውስጥ ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ቶሎ እንዲያልቅለት ብቻ የፈለገ ይመስላል። ከነርሷ ክንድ ላይ ካሉት ማኅደሮች የመጀመሪያውን ስቦ ከፈተ።

«ቦጂያ ዋቅጅራ» አለ፣ ፊቱን በበሩ አጠገብ ወደተኛው ወደ አባቷ አዙሮ።

«አቤት» አሉ ኦቦ ቦጂያ በደረቀ ድምፅ፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከመስኮቱ ስር።

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ከዚያ እንደገና ወደ በሩ። «መርፌው ይቆይ» አላት ሲስተር ሽታዬን። ኦቦ ጀቤሳ በሩን ከፍተው ይዘው ዱሬቲን ጠበቋት።

ዱሬቲ ግን አልወጣችም፤ ሄዳ የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።