የገመድ ግቢው እንግሊዝኛ

«አይ ፑሊንግ አም» አለች ሰርኬ፣ የቃጫውን ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች።

«ደግሞ ‹አም›ን ጭራ አደረግሻት» አሉ ጋሼ በዛብህ ከዱካቸው ሳይነሱ። «በአማርኛ ‹ነው› መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እንግሊዞቹም እንደኛ የሚያወሩ ይመስልሻል። ቦታዋ ከ‹አይ› ቀጥሎ ነው። እንደገና።»

«አይ አም ፑሊንግ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እየጎተትኩ ነው።»

«ታዲያ የታለ የምትጎትቺው?»

ሰርኬ እጇን አየች። ለካ እያወራች ቆማለች። በወዲያኛው ጫፍ ገመዱን የያዘችው ጉራጌዋ ጎረቤቷ ዋጋነሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የጋሼ በዛብህ ሕግ አንድ ነበር፤ እጅ የማይሠራውን አፍ አይናገርም። የምትጎትት ከሆነ ጎትተሽ ትናገሪያለሽ፤ ከቆምሽም መቆምሽን ትናገሪያለሽ።

ከአጥሩ ውጪ ለሚያይ ሰው ይህ ግቢ ቃጫ የሚገመድበት ተራ የኮልፌ ግቢ ነው። ጋሼ በዛብህ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። በዚያ በክፉው የካቲት የተማረ ሰው እየተለቀመ ሲገደል አምልጠው፣ ማንም ወደማያውቃቸው ወደዚህ ሰፈር መጥተው ገመድ ሠሪ ሆኑ። ደብተር የለ፣ ጠመኔ የለ። ወታደር ቢፈትሽ የሚያገኘው ቃጫ ብቻ ነው። አሁን የሚሠራን ነገር የሚናገሩበትን ይህን አነጋገር ያስቀደሙትም ለዚህ ነበር። ልጆቹ ገመድ እየሠሩ፣ የሚሠሩትን እየተናገሩ ይማሩታል።

ለሰርኬ ደግሞ በልኳ የተሰፋ ትምህርት ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንላትም። እናቷ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኳት» ትላለች። እንግዲህ ሲጠርጉ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ውኃ ሲቀዱ ሌላ፣ ሲሮጡም ሌላ አለ። ጋሼ በዛብህ «ከበሩ ወዲያ አንዲት ቃል እንዳትወጣ» ብለው ቢያስጠነቅቁም፣ አፏ ከእጇ ጋር አብሮ መሄድ ለምዶ አስቸግሯታል።

በማግስቱ ገበያ ላይ ጉድ ፈላ።

ሰርኬና ዋጋነሽ ገመዱን ዘርግተው ሲሸጡ፣ አንድ ጣሊያን መኮንን ከአስተርጓሚው ከአቶ መሸሻ ጋር መጣ። የካሚዮን ጭነት ማሰሪያ ይፈልጋል። ጥንካሬውን ለመፈተን አንዱን ጫፍ ራሱ ያዘና ሌላውን እንድትስብ ለሰርኬ ምልክት ሰጣት። እሷም እግሯን ተክላ ሳበች፤ ስትስብም ሳታስበው ከአፏ አመለጣት።

«አይ አም ፑሊንግ።»

ጣሊያኑ ገመዱን ለቀቀና አቶ መሸሻን አንድ ነገር ጠየቀው። አቶ መሸሻ ሰርኬን ትክ ብሎ አያት።

«ምን አልሽ አንቺ?»

«ጉራጊኛ ነው፣ ጌታዬ» አለች። ከየት እንደመጣላት እሷም አታውቅም።

አቶ መሸሻ ወደ ዋጋነሽ ዞረ። «እውነት ነው?»

«አዎ ጌታዬ» አለች ዋጋነሽ። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

አቶ መሸሻ ለጣሊያኑ ተረጎመለት። ጣሊያኑ አንዴ ሰርኬን፣ አንዴ አስተርጓሚውን እያየ ረጅም ነገር ተናገረ። አቶ መሸሻም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ነገ ገመዱን ልንወስድ ስንመጣ ሁለታችሁም እዚሁ ጠብቁን። የእኔ ሚስት የእምድብር ጉራጌ ናት። እሷ መጥታ በጉራጊኛ ታነጋግርሽ ብለዋል መኮንኑ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ዋጋነሽ ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ቆመች።

«ሌላ ቋንቋ አጥተሽ ነው የኛን የጠራሽው?»

«ቶሎ የመጣልኝ እሱ ነው።»

«ለመሆኑ አንድ ቃል ታውቂያለሽ?»

ሰርኬ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአንድ አጥር ተጎራብተው ሲኖሩ የዋጋነሽ እናት በጉራጊኛ ሲቆጡም ሲስቁም ሰምታለች። ምን አሉ ብላ ግን አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። አፈረች።

«ብቻ ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው» አለች ዋጋነሽ። «ከሰሙ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያስተምረናል?»

ሰርኬም የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። ዝም ማለት፤ ነገ ታምሜያለሁ ብሎ ከቤት መቅረት፤ ነገሩ ሲረሳ ወደ ገመዱ መመለስ። ቤት ገብታ መጥረጊያ አነሳች፣ አስቀመጠችው። እንስራ አነሳች፣ እሱንም አስቀመጠችው። ወታደሮች የጋሼ በዛብህን በር ሲገነጥሉ እየታያት አንዱንም ሥራ መጨረስ አልቻለችም። በመጨረሻ ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች።

ጋሼ በዛብህ ቃጫ እያበጠሩ ነበር። ማንም ሲመጣ ምን እያደረገ እንደሆነ መጠየቅ ልማዳቸው ነው። ይህን ሳይመልስ ሌላ ነገር መናገር አይቻልም።

«ዋት አር ዩ ዱዊንግ?»

«ዛሬ በአማርኛ ነው የምናገረው፣ ጋሼ። ይስሙኝ።»

ነገረቻቸው። ምንም አላስቀረችም። የአስተርጓሚውን ስም ስትጠራ እጃቸው ቃጫው ላይ ቀረ።

«መሸሻን አውቀዋለሁ። አብረን ነው የተማርነው። እንግሊዝኛ ከኔ እኩል ይችላል።»

«እና አውቆብኛል ማለት ነው?»

«አውቋል። እዚያው ሊናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ነገ ጣሊያኑ ሲያፋጥጠው ምን እንደሚል ግን እሱም አያውቅም።»

ተነሥተው ጋቢያቸውን ከግድግዳው አወረዱ። ሳይጨልም ሰበታ መንገድ ላይ መሆን አለባቸው።

«አይቆጡኝም?»

«ተቆጥቻለሁ። ለመቆጣት ግን ጊዜ የለኝም።» በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ያቺ ልጅ ላንቺ ብላ ነው የዋሸችው። እኔን ቢያጡ የሚይዙት እሷን ነው።»

ሰርኬ ባዶው ግቢ መሃል ቆማ አለቀሰች። እንዲህ የወደደችውን ነገር በገዛ አፏ ነበር ያጣችው። ከዚያ ፊቷን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ወደ ሰፈራቸው ተመልሳ የጋራ አጥራቸውን ዞረች።

ዋጋነሽ ደጃፋቸው ላይ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ የሰርኬን ዓይን አየችና ገባት።

«ሄዱ?»

«ሄዱ።»

ዋጋነሽ አንዲት ጠጠር ለቅማ ወረወረች። «ነገ ከገበያ ትቀሪያለሽ አይደል?» ስትል ቀና አላለችም።

«አልቀርም» አለች ሰርኬ አጠገቧ እየተቀመጠች። ሰፌዱን ወደ ራሷም ሳብ አድርጋ መልቀም ጀመረች።

«‹ምስር እየለቀምኩ ነው› በእናንተ እንዴት ነው የሚባለው?»

ዋጋነሽ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረቻት። ሰርኬም ተከትላት አለችው። ከቤት ውስጥ የዋጋነሽ እናት ሲስቁ ተሰማ።

«አልሆነም» አለች ዋጋነሽ። «እንደገና።»

ሰርኬ ሌላ ጠጠር እየለቀመች፣ እንደገና አለችው።