መርዶ ያደረበት ቤት

ግቡ፣ ግቡ። በሩን ገርበብ አድርጉትና ተቀመጡ። ዛሬ ምነው በዛችሁ? ጨረቃ የለችም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ እናንተ ግን ከላይ ቤት ከታች ቤት ተጠራርታችሁ እኔ ዘንድ መጣችሁ። ተረት አምሮን ነው ትሉኛላችሁ። በዚህ ሰዓት? ታረቀ እንኳ፣ ሲመሽ ከሚስቱ ጎን የማይነሳው ታረቀ፣ ይኸው መጥቷል። አባ ዘሚካኤልም አሉ። አባ፣ ከእሳቱ ጠጋ ይበሉ። ፈንታሁን፣ አንተስ ምነው በሩ ሥር ተሸጎጥህ? ትናንት ልጄ ካለበት አገር መጥተህ ያቀረብኩልህን እራት ሳትቀምስ ሄድህ። ዛሬም መሬት መሬት ታያለህ። ይሁን። እኔም እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ተረት ካላችሁ ተረት እነግራችኋለሁ። እሳቱን ግን አታጥፉት።

አንድ ሰው ነበር። ብናልፈው ይባላል። የየትኛው መንደር ሰው ነው አትበሉኝ፤ የዚያን መንደር ስም በጨለማ አልጠራም። ሰዓቱ ጀምበር ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። መንገዷ ከእርሻ ወደ ቤት የምትወስድ ቀጭን መንገድ ናት፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል አጋም። መሐሏ ላይ አንዲት ትልቅ ሾላ ቆማለች። በዚያ ሰዓት በዚያች መንገድ ብቻውን የሚሄደው ማነው? ብናልፈው ነው። ለምን ብቻውን? ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

ብናልፈው የጭሰኛ ልጅ ነው። አባቱ የሰው መሬት ሲያርስ ኖሮ፣ በሰው መሬት ተቀበረ። ብናልፈውም ገና ጎረምሳ ሳለ «የራሴን መሬት ሳልገዛ አልሞትም» ብሎ ሱዳን ወረደ። ስንት ዓመት ቆየ? አሥራ አምስት ዓመት። ሰሊጥ አጨደ፣ ማሽላ ተሸከመ፣ ወባ ሁለት ጊዜ ከመቃብር አፋፍ አድርሳ መለሰችው። እዚያ አበጀ የሚባል ጓደኛ አገኘ። አብረው ያጭዳሉ፣ አንድ ቁርበት ላይ ይተኛሉ፣ አንድ ጋቢ ይለብሳሉ። አበጀ ግራ እግሩን ማጭድ ቆርጦት ይጎትታል። ሲመጣ ሳይታይ ይታወቃል። ጠብ፣ ሽርር። ጠብ፣ ሽርር።

አንድ ክረምት አበጀን ወባ ያዘችው። ብናልፈውን መለሰችው፣ አበጀን ግን አልመልስም አለች። ሲደክም ብናልፈውን ጠራና ከራስጌው ቢጫ ሻሽ አወጣ።

«ለእናቴ የገዛሁት ነው። በእጇ ስጣት። መሞቴን ራስህ ንገራት። ይለቀስልኝ ብናልፈው። ካልተለቀሰልኝ ቤቴ አልገባም።»

«እነግራታለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ባልነግራት የአባቴ አጥንት ይውጋኝ።»

ማለ። አበጀም ሞተ። ብናልፈው በሰው አገር አፈር ቀበረውና ሻሹን ይዞ ወጣ። ስንት ቀን እንደተጓዘ እንጃ። የአበጀ እናት ቤት ሲደርስ መሽቶ ነበር።

መርዶ ደግሞ በምሽት አይነገርም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀርቦ፣ የነፍስ አባት ባሉበት ነው። አይደለም ወይ አባ? ስለዚህ ብናልፈው መርዶውን በሆዱ ይዞ አንድ ሌሊት ማደር ነበረበት። አንድ ሌሊት ብቻ። ያች አንዲት ሌሊት ናት ያጠፋችው።

እናቲቱ የሻረግ ትባላለች። «ከሱዳን ነኝ፣ የአበጀ ጓደኛ ነኝ» ሲላት እግሩ ላይ ወደቀች።

«ልጄ ደህና ነው?»

በምሽት ምን ይበላት? «ደህና ነው» አላት።

ውኃ አሞቀችለት፣ እግሩን አጠበችው፣ ያላትን አቀረበች፣ እያየችው አለቀሰች። አንዷን ጉርሻ ስለ ልጇ፣ አንዷን ጉርሻ ስለ ጓደኛው አጎረሰችው። ያ ጉርሻ እንዴት ወረደለት? እኔ አላውቅም። ሲነጋጋ ጎረቤት ሊጠራ ከቤት ወጣ። ወጥቶም ቀና ሲል አየ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግድግዳው ደህና ተመርጓል፣ በረት አለው። ጓሮው ጌሾና ጎመን ነው። ከታች እስከ ወንዙ ድረስ ደግሞ ሦስት ዓመት ማረሻ ያልነካው ጥቁር ዋልካ ተኝቷል። ጎንበስ ብሎ ከአፈሩ ዘገነ። አሥራ አምስት ዓመት ያለመው አፈር በእጁ ገባ።

የሻረግ ከኋላው ቆማለች። «ልጄ፣ ይህን ቤትና መሬት አንተ ግዛኝ» አለችው። «የሚያርስልኝ የለም። የባሌ ዘመዶች እንደ ጅብ ከበውኛል። ለነሱ ከሚሆን የአበጀ ጓደኛ ይያዘው። ለእኔ ከዳር ያለችውን ጎጆ ትተውልኛለህ፤ ልጄ እስኪመጣ እዚያ እጠብቀዋለሁ። እሱስ እሺ ይላል?»

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ አገር ርስት የሚሸጠው ወራሹ እሺ ሲል ነው። ወራሹ ከሞተ መሬቱ የአባቱ ዘመዶች ነው። ብናልፈው እውነቱን ከተናገረ መሬት የለም። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አትመልሱልኝ። ያልተፈተነ ሁሉ ጻድቅ ነው።

«እሺ ይላል» አለ ብናልፈው። «እንዲያውም ከእናቴ ግዛ ያለኝ እሱ ራሱ ነው።»

በሽማግሌ ፊት ደገመው። ድንበር ተዞረ፣ እማኝ ቆመ፣ ቤቱና መሬቱ የብናልፈው ሆነ። ቢጫውን ሻሽ ከጎተራው እህል ሥር ቀበረው።

ከዚያ አገባ። ሚስቱ ስንዱ ትባላለች፣ ሙያ ያላት ሴት ናት። የሻረግ ከዳር ባለችው ጎጆ ተቀመጠች። ማታ ማታ ብናልፈው ከእርሻ ሲመለስ ደጇ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

«ዛሬም ከልጄ ወሬ የለም?»

«መንገዱ ተዘግቶ ነው እማማ። አጨዳው ሲያልቅ ይመጣል።»

«ይሁና። ዋናው ጤናው ነው።»

የልጇን ድርሻ ማታ ከድና ታስቀምጣለች። ጠዋት ለውሻ ትሰጠዋለች። በየቀኑ። ብናልፈው ይህን ያያል። ነገ እነግራታለሁ ይላል። ነገ ዘር ነው። ከነገ ወዲያ አረም ነው። ስንዱ አረገዘች፣ ወለደች። አራስ ይዞ መሬቱን ልቀቅ ቢሉት ወዴት ይሄዳል? ክፉ ሰው አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ እህሉ ሲደርስ፣ አንድ ማታ በዚያች መንገድ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሾላዋ ጋ ሲደርስ ከኋላው ሰማ።

ጠብ፣ ሽርር። ጠብ፣ ሽርር።

ቆመ። ያም ቆመ። ተራመደ። ያም ተራመደ።

«ማነው?»

ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

በሳምንቱ ቤቱ ሲደርስ ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ከትከሻው በላይ ታያለች።

«እንግዳህን ምነው ውጭ ተውከው?»

«የምን እንግዳ?»

«ከኋላህ ያለው ነዋ። ደህና አመሸህ ብለው አልመልስ አለኝ። እግሩን አሞታል መሰለኝ።»

ዞር አለ። ማንም የለም።

ደግሞ በሌላው ማታ ከኋላው አልነበረም። ከፊቱ ነበር። ሾላዋ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ጋቢውን ብናልፈው ያውቀዋል። አብረው የለበሱት ነው። ደግሞም የከፈነው በሱ ነው።

«ብናልፈው።»

«አቤት።»

«ነገርካት?»

«ነገ እነግራታለሁ።»

«ነገርካት?»

«ወንድሜ፣ እህሌ ይግባልኝ፣ ልጄ ጥርስ ያውጣልኝ...»

«እንግዲያው ሻሹን እኔ እሰጣታለሁ።»

ተነሳ። ፊቱን አላዞረም። ወደ የሻረግ ጎጆ አቀና። ጠብ፣ ሽርር። ጠብ፣ ሽርር።

ብናልፈው በአጋሙ ውስጥ እየተቧጨረ ቤቱ ሮጠ። ጎተራው ውስጥ ገብቶ እህሉን በእጁ ቆፈረ። እስከ ወለሉ ድረስ ቆፈረ። ሻሹ የለም።

ሳይተኛ አደረ። ጎህ ሲቀድ ወደ ጎጆዋ ሄደ። የሻረግ ተቀምጣ ትስቃለች። በራሷ ላይ ምን አስራለች? ቢጫ ሻሽ።

«ብናልፈው፣ ልጄ መጣ! ሌሊት ደጄ ላይ ቆሞ እናቴ አለኝ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ‹ብናልፈው የሚነግርሽ አለ፤ እሱን ሳትሰሚ አልገባም› አለኝ። ሻሹን በእጄ ሰጠኝ። ግን...» እጇን ዘረጋችለት። «እጁ ምነው እንደዚያ ቀዘቀዘ? እሱ ከነካኝ ወዲህ እጄ አልሞቅ አለኝ። እስቲ ንካው።»

ነካው። የወንዝ ድንጋይ ሆኗል።

«በል ንገረኝ ልጄ። የምትነግረኝ ምንድን ነው?»

ጎህ ቀዷል። የመርዶ ሰዓት ነው። አሮጊቷ ዓይን ዓይኑን እያየች ትጠብቃለች። ብናልፈው አፉን ከፈተ። በጎጆዋ በር በኩል ጤፉ ይታየዋል፤ ደርሶ አጎንብሷል፣ ለማጭድ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። ከወደ ቤት ልጁ አለቀሰ።

«ምንም የለም እማማ» አለ። «ብርድ ነው።»

ምንም የለም አለ! ሦስት ዓመት ሙሉ የዋሸው አንሶ፣ የሞተው ራሱ መጥቶ በሩን ከከፈተለት በኋላ!

በማግስቱ ማታ የሻረግ ነጠላዋን ለበሰች። ስንዱ «ወዴት ነው በዚህ ጨለማ?» ብትላት፣ «ልጄ ውጭ እያደረ እኔ ቤት አልተኛም። እምቢ ካለ እጁን ይዤ አስገባዋለሁ» አለች። ስንዱ ሴትዮዋ አርጅታለች ብላ ተወቻት። ጠዋት ሾላዋ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ሻሹ በራሷ ላይ ነው። ቀኝ እጇ ወደ ጎን ተዘርግቶ ጣቶቿ ተጨብጠዋል፤ ልክ የሰው እጅ እንደያዘ ሰው። ሊያላቅቁት ቢሞክሩ የሚላቀቅ ነገር የለም። ሞታለች።

ያኔ ብናልፈው ጮኸ። «አበጀ ወንድሜ! አበጀ ወንድሜ!» እያለ መሬት ላይ ወደቀ። ሰዉ ግራ ገባው። የሞተችው እናቲቱ፣ እሱ የሚጠራው ልጅየውን።

«አበጀ ምን ሆነ?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት።»

ማንም አልተሳደበም። ማንም ውጣልን አላለውም። ለቀስተኛው ሁሉ ፊቱን አዞረና ለአበጀ የሚገባውን ለቅሶና ለእናቱ የሚገባውን ለቅሶ በአንድ ቀን አለቀሰ። ብናልፈው አራስ ልጁንና ሚስቱን ይዞ ጤፉን ሳያጭድ ሄደ። ወዴት? እንጃ። አሥራ አምስት ዓመት የለፋለት መሬት ላይ አንድ መቃብር እንኳ አልነበረውም። ቤቱን የሚገዛ ጠፋ፤ ጣራው ወደቀ፣ ጌሾው ዱር ሆነ። መንገዷ ግን አለች። ሲመሽ ሁለት ሰዎች ይሄዱባታል ይላሉ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዷ ትደግፈዋለች። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሲያገኙ ሴትዮዋ ቀረብ ትልና በዚያ በቀዘቀዘ እጇ ክንዱን ትይዛለች።

«ልጄ፣ የምትነግረኝ አለ?»

ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ። ጅብ ፈርቼ አይደለም። የሰው መርዶ በሆዱ የያዘ ሰው ብቻውን ነው ቢባልም ብቻውን አይደለም።

ተረቴ ይኸው ነው። አለቀ። ምነው ዝም አላችሁ? ታረቀ፣ ሁልጊዜ የምትስቅብኝ ዛሬ ምን ነካህ? አንቺስ ለምን ነጠላሽን አፍሽ ላይ ያዝሽ?

ልጄ ስንቅ ይዞ ከዚህ በር ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው። «እናቴ፣ ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤት ከነመሬቱ እገዛልሻለሁ» ብሎኝ ነው የሄደው። ትናንት ፈንታሁን መጣ። ደህና ነው አለኝ። ደህና ነው ያለ ሰው ግን እራቴን አልበላም። ዛሬ ደግሞ መንደሩ ሁሉ በእኩለ ሌሊት ተረት አማረው። የነፍስ አባቴም አማራቸው። ልጆቼ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በሰው መርዶ ላይ ስገኝ ኖሬ ይህን የማላውቅ መሰላችሁ?

ዝም በሉ። ሰማችሁ? በጓሮ በኩል ሰው ይሄዳል። ቁጠሩ፤ ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ውሻውም አልጮኸበትም፣ ያውቀዋል።

ዶሮ ጮኸ። ጎህ ሊቀድ ነው። አባ፣ ይነሱ። ፈንታሁን፣ ቀና በልና እየኝ። እኔ እንደ የሻረግ አይደለሁም፣ በሩ ላይ ቆሞ እንዲያድር አላደርገውም።

ንገሩኝ። ንገሩኝና ልጄ ይግባ።