ቁልፉን በጥርሷ የነከሰችው

መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ግራው ሰማያዊ፣ ቀኙ ጥቁር።

እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ የወደቡን መድረክ እንጨት እያጠበቅኩ ነበር። ቀና ስል ሁለት የማይመሳሰሉ ጫማዎች አናቴ ላይ ቆመዋል።

«ወንድም፣ ጀልባ የሚጠግነው ሰው የታለ?»

«እኔ ነኝ...» አልኩ። ከዚያ ፈራሁና አስተካከልኩት። «እኔና አሠሪዬ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ የታሉ?»

«ለሥራ ሄደዋል። ነገ ጠዋት ነው የሚመጡት።»

ፊቷ ጭልም አለ። እኔ ደግሞ ከጫማዎቿ ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

«ጫማዬን ተወውና ጀልባዬን እይልኝ! በሩጫ ነው የወጣሁት።»

ጀልባዋን ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አምጥተውላታል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጀልባዋ ግን ወይ ፍንክች። ጠልቄ ዳሰስኩት። ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር አንዱ ክንፉ ተቆልምሟል፤ የተጣለ የመረብ ገመድ እንደ ሻሽ ተጠምጥሞበታል።

«ትርፍ ፕሮፔለር አለሽ?»

«አለ። አባቴ ትርፍ ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም።»

«መቀየር ነው እንግዲህ። ግን... ጀልባ ከውሃ የሚያወጣው ክሬን ከተበላሸ ወር አልፎታል።»

«እና?»

«እና እዚያው ውሃ ውስጥ እያለች ነው የምንሠራላት።»

መድረኩ ላይ ቁጭ አለች። ድምጿ ቀነሰ።

«ስማኝ ወንድሜ። ደሴታችን ላይ አስራ አንድ ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው። ከነገ ወዲያ ጠዋት እዚህ ከተማ ፈተና አላቸው። አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ከእኔ በቀር የሚያመጣቸው ጀልባ የለም። መሄጃው ሦስት ሰዓት፣ መመለሻው ሦስት ሰዓት... ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ካልተነሳሁ ይመሽብኛል። በጨለማ ደግሞ የሰው ልጅ አልጭንም።»

እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን የተፈተንኩት ግማሹን ነው። በሁለተኛው ቀን ታመምኩ፣ በዚያው ቀረ። አንድ ቀን የሰውን ዕድሜ እንዴት እንደሚቀይር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

«ይደርሳል» አልኳት። ከዚያም እጄን ዘረጋሁ። «የሞተሩን ቁልፍ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ውሃ የሚገባው ሰው ነው ቁልፍ የሚይዘው። የእኛ ደንብ ነው።»

እጇ አንገቷ ላይ ወዳለው ቀይ ክር ሄደ።

«ይህን ቁልፍ አባቴ ሠላሳ ዓመት ከአንገቱ አላወለቀውም። ወገቡ እምቢ ሲለው ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደብ ላይ ያገኘኝ ወንድ ሁሉ ‹ቁልፉን ስጪኝ፣ እኔ ላቁምልሽ፣ እኔ ላዙርልሽ› ነው! አንተም መጣህ?»

መናገር የነበረብኝ ምክንያቱን ነበር። ግን የተቆጣ ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ብቻዬን የምኖር፣ ከሰው ይልቅ ከእንጨትና ከብረት ጋር የማወራ ሰው ነኝ።

«ደንብ ነው...» ብቻ አልኩ።

አውልቃ መዳፌ ላይ ጣለችው። «እንካ! ቁልፉን እንጂ ጀልባዋን አልሰጠሁህም።»

ሥራው እንዲህ ነው። በአሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች ከጀልባዋ ፊት ይከመራሉ። አፍንጫዋ ሲደፋ ጅራቷ ብቅ ይላል፣ ፕሮፔለሩም ወደ ላይ ይቀርባል። አስራ ሁለት ጆንያ ሁለታችን ተሸከምን። ከጅራቷ ሥር ሸራ ወጥረን አራቱን ጫፍ አሰርን። መፍቻዎቼን ሁሉ በሲባጎ ከእጄ አንጓ ጋር አሰርኩ።

«ኪያቤውን እንደ ጥጃ አሰርከው እኮ!» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ከታች ያለው ጭቃ የወሰደውን አይመልስማ።»

ትንፋሼን እየያዝኩ ገመዱን በቢላዋ ቆርጬ ጨረስኩ። ፕሮፔለሩን የያዘው ትልቁ ዳዶ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘይት ቀባሁትና ወጣሁ።

«ጠዋት በጋሼ ረጅም ኪያቤ ይፈታል» አልኳት። ጆንያዎቹን ወደ ኋላ ጎትተን ጀልባዋን አቃናናት። «ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ያንጠባጥባል። አትጨነቂ፣ ፓምፑ አለልሽ።»

ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝ። እግራችንን አንጠልጥለን በላን።

«መጀመሪያ ሳይህ ዓሣ መስለኸኝ ነበር» አለች።

«አሁንስ?»

«አሁን... የሚያወራ ዓሣ። እሱም በስንት ልመና!»

ስልክ ቁጥሬን ልሰጣት ፈለግኩ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ሦስቴም ዳቦ ጎረስኩበት። ጀልባዋ ላይ እንደምታድር ነገረችኝ። ደህና እደሪ ብያት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ እሷን ሳስብ ቤቴን አልፌ ተመለስኩ።

ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ጎንበስ ስል የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ደረቴን ነካኝ።

ቁልፉ!

ውሃው ከእጄ ፈሰሰ። ፓምፑ... ፓምፑ ያለ ቁልፍ አይነሳም!

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ከሩቅ ሳያት ጀልባዋ እንደ ደከመ ሰው ዝቅ ብላለች። እሷ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ በባልዲ ትቀዳለች፣ ትደፋለች፣ ትቀዳለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ቁልፉን ስዘረጋላት መዳፎቿ ተልጠው አየሁ።

ሰክታ አዞረችው። ፓምፑ ጮኸ፣ ውሃውን ወደ ውጭ መትፋት ጀመረ። ያኔ ነው የዞረችው።

«ሌሊቱን ሙሉ! ዘበኛውን ቤቱ የት ነው ብለው አያውቅም። ስልኩስ ብለው አያውቅም። ስሙስ ማነው ብለው... ‹እኛ ፈዛዛው ነው የምንለው› አለኝ!»

«ረስቼ ነው...»

«አንገት ላይ ያለ ነገር ይረሳል? ተማሪዎቹን ባሰብክ! እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በፋኖስ ነው ያጠናችው!»

‹አንቺን እያሰብኩ ነው የረሳሁት› ልላት ነበር። በምትኩ ባልዲውን አንስቼ መቅዳት ጀመርኩ።

ጋሼ የደረሱት ይሄኔ ነው። ወደቡ ሁሉ «ጋሽ ስምንት» ይላቸዋል። ነገሩን ሲሰሙ በኪያቤው ጀርባዬን ነካ አደረጉኝ።

«አንተ ፈዛዛ! ቁልፍ አንጠልጥሎ ቤቱ የሚሄድ ጠጋኝ በዕድሜዬ አላየሁም። ና፣ ጆንያ ተሸከም!»

እሳቸው የሚያንጠባጥበውን ቀዳዳ ከውስጥ ጠቀጠቁ። የጀልባዋን አፍንጫ እንደገና ደፋነው። በረጅሙ ኪያቤ ተጋግዘን ዳዶውን ፈታን፣ የተቆለመመው ፕሮፔለር ወጣ። አራት ሰዓት ሆነ። የቀረው አዲሱን መግጠም ነበር። እጅን በክንፎቹ መሃል አስገብቶ፣ በጨለማ፣ በዳሰሳ።

ጋሼ ወደ እሷ ዞሩ። «ካፒቴን፣ ቁልፉን ስጪው።»

ቁልፉን ጨበጠችው። «አልሰጥም። ሁለተኛ አልሰጥም።»

«የኔ ልጅ፣ ደንብ...»

«ይሁን ጋሼ» አልኩ። «እሷ ጋር ይሁን።»

«አብደሃል?»

«ይሁን።»

ገባሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ከውሃ በታች የጀልባ ድምፅ ሁሉ ከጆሮ አጠገብ ነው የሚሰማው። ፕሮፔለሩን ዘንጉ ላይ ስገፋ እርምጃዋን እሰማለሁ። ቷ... ቷ... ወደ መሪው እየሄደች ነው? ቆመች። ጣቶቼ ክንፎቹ መሃል ናቸው። በንዴት አታዞረውም። ግን በስህተትስ? ለፓምፑ ብላስ? ልቤ ውሃውን የሚያናውጥ መሰለኝ። ወጣሁ፣ ተነፈስኩ፣ ተመልሼ ገባሁ።

ሁለተኛ ስወጣ የጋሼ ድምፅ ተሰማኝ፣ ቃሉ ግን አልተለየኝም። ሦስተኛ ስወጣ አየኋት።

የጀልባዋ ጅራት ላይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። የማይመሳሰሉ ጫማዎቿን አውልቃ እግሮቿን ውሃ ውስጥ ከታለች። ሁለት እጆቿን ገልጣ ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ቁልፉ ጥርሷ መሃል ነው። ዓይኖቿ እንባ ሞልተዋል።

ጋሼ ከኋላዋ ቆመው ግራ እጃቸውን ዘርግተዋል። ሦስት ጣት ያለውን።

«ቁልፉን ማን አዞረው ብላ ጠየቀችኝ» አሉኝ። «ወንድሜ ነው አልኳት። ታናሼ። እኔ ከሥር ስሠራ፣ እሱ ሻይ ሊያፈላልኝ መብራት ፈልጎ አዞረው። ከዓለም ሁሉ አብልጦ የሚወደኝ ሰው! ቁልፍ የምንይዘው ክፉ ሰው ፈርተን አይደለም የኔ ልጅ።»

ለምን በጥርሷ እንደያዘችው ገባኝ። እጇንም ቁልፉንም ብቅ ባልኩ ቁጥር እንዳይ ነው።

«ትናንት የረሳሁት...» አልኳት። «አንቺን እያሰብኩ ነው። እንዳትመልሺልኝ፣ ቁልፉ ይወድቃል!»

ገባሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምላሴ ተፈታ። እሷ መናገር ስለማትችል ይሆን?

ብቅ አልኩ። «ስልኬን ልሰጥሽ ነበር፣ አፈርኩ።»

«እምምም!»

ጠለቅኩ። ብቅ አልኩ። «ስትስቂ ደስ ይለኛል።»

«እምም! እም!» ቁልፉን በጥርሷ እየነከሰች በዓይኗ ትስቃለች፣ እንባዋ ይወርዳል።

«አንተ!» ጮኹ ጋሼ። «ዳዶውን እሰር! አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል!»

ዳዶውን ላስገባ ስል... ከደነዘዙ ጣቶቼ አመለጠ! ብቸኛው ዳዶ። ወደ ታች ዘፍ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አስራ አንድ ተማሪዎች፣ በፋኖስ ያጠናች ልጅ...

ጧ አለ። ሸራው ላይ። በድንጋጤ ረስቼው እንጂ ሸራውን የወጠርነው ለዚሁ ነው! እየዳበስኩ አገኘሁት። አዞርኩ፣ አጠበቅኩ፣ ማቆያ ሽቦውን አጠፍኩ።

«ጨረስኩ!»

አፏን ከፈተች። ቁልፉ መዳፏ ላይ ወደቀ።

«መንጋጋዬ ሊወልቅ ነው! ሌላ ቀን ዝም፣ ዛሬ ወሬ!» መልሳ ዘረጋችልኝ። «እንካ። አንተ አስነሳው።»

«ካፒቴኗ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኛ! እኔ ነኝ የማዘው። አስነሳው!»

አዞርኩት። ከጀልባዋ ጅራት ሥር ነጭ አረፋ ተንፈቀፈቀ። ጆንያዎቹን እንዴት እንዳወረድናቸው አላስታውስም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገመዱን ፈታሁላት።

«መልስ አልሰጠሽኝም!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጆቹን ላምጣ!»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ዓመት ረዘመብኝ። ዳዶውን አጥብቄዋለሁ? ሽቦውን አጥፌዋለሁ? ጋሼ «ቁጭ በል፣ መድረኩን ጨረስከው» ይሉኛል። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ነፋሱ ሲበረታ የመድረኩ ጫፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሩቅ፣ አንዲት ነጥብ...

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሲወርዱ ቆጠርኳቸው። አስራ አንድ! የመጨረሻዋ ደብተሯን ያቀፈች ቀጭን ልጅ ናት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«እታለም፣ ፈዛዛው ይሄ ነው?»

«እሱ ነው» አለች እሷ ከኋላ። ሁለት ሰማያዊ ጫማ አድርጋለች። ወደ እኔ መጥታ አዲስ ቀይ ክር አንገቴ ላይ አጠለቀች። ጫፉ ላይ ቁልፍ አለ።

«ይሄ...?»

«አባቴ ትርፍ ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም አላልኩህም? ቁልፍም ትርፍ አለው፣ ቤት ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። በጥርሴ እንደነከስኩትም፣ አንተ የለፈለፍከውንም። ሳቀ፣ ሳቀና... ‹ይህን ስጪው› አለኝ።»

«መልሱ ይሄ ነው?»

«አይ አንተ ዓሣ!» አለችና ግንባሯን ደረቴ ላይ ደገፈች። «ሌላ ምን ልበልህ?»

ዛሬ ከተጋባን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሆነን። ክሬኑ ተጠግኗል፤ እኛ ግን ጀልባችንን ዛሬም ውሃ ውስጥ እያለች ነው የምንጠግናት። ቁልፉ ሁለት ስለሆነ ደንቡም ሁለት ሆኗል፤ አንዱ እኔ አንገት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላውን እሷ የጀልባዋ ጅራት ላይ ተቀምጣ ትነክሰዋለች።

«ኪስሽ አስገቢው፣ ይበቃል እኮ» አልኳት ባለፈው።

ቁልፉን ከጥርሷ አወጣች።

«አንተ የምታወራኝ እንዲህ ስነክሰው ብቻ ነው» አለችኝ። መልሳ ነከሰችው። በአገጯም «ቀጥል» አለችኝ።