የዋጋሪ እጅ የሚያውቀው

ይህ ነገር ሆኗል። ተረት ፈጥሬ ለማውራት አቅሙም የለኝም። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ዓይኔም ደክሟል። ይህንን በስልኳ የምትጽፍልኝ የእህቴ ልጅ ናት። በየመሐሉ «እውነት ነው እቴቴ?» እያለች ታቋርጠኛለች።

እውነት ነው። ጻፊ።

ግንቦት 1975 ዓመተ ምሕረት፣ ነቀምቴ። ሰዓቱ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነው። ሌሊት አልነበረም፣ ጅብም አልጮኸም። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ጨለማ የሚጠብቅ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ቦታው ጨለለቂ አካባቢ የነበረ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ጠዋት ልጆች አስተምራለሁ። ከሰዓት ልጆች አስተምራለሁ። ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዋቂዎችን ፊደል አስቆጥራለሁ። እሑድ ስብሰባ አለ። ቀረች እንዳልባል እሄዳለሁ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ገልጬ እተኛለሁ።

ደክሞኝ ነበር።

ያደከመኝ ግን ሥራው ብቻ አልነበረም።

ባሌ ጨመዳ ይባላል። እሱም አስተማሪ ነበር። መስከረም 1973 ከቤት ወሰዱት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ስምንት ወር ሙሉ ስንቅ አመላለስኩ። አንድ ቀን... ግንቦት ውስጥ... በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ።»

ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሬሳ የለም። ቀን የለም። ቦታ የለም። ጥቁር መልበስ እንኳ ያስጠይቃል። ሞቷል ብዬ አላለቀስኩም፣ ይመጣል ብዬም ደፍሬ አልጠበቅኩም፤ በመሐል ሁለት ዓመት አለፈ። ከዓለም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጨመዳ የት እንደደረሰ ማወቅ።

እንግዲህ በዚያ ግንቦት ድርቤ የምትባል የሰፈራችን ሴት ወንድሟን ይዛ አዳራሹ መጣች።

«አካም ኦልቴ፣ ባርሲስቱ» አለችኝ። እንዴት ዋልሽ፣ መምህርት ማለቷ ነው። «ይሄ ወንድሜ ዋጋሪ ነው። ታስሮ ነበር፣ ለቀቁት። ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከሚያይ እዚህ ይዋልልኝ።»

ዋጋሪ አርባ ዓመት የሚሆነው አጭር ገበሬ ነው። ከጆሮው በላይ ጠጉር የማይበቅልበት ጠባሳ አለው።

ድርቤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በገባ ዕለት በሰደፍ መቱት። ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ አይቀመጥም። የልጅነቱን ጠይቂው፣ ይነግርሻል። የትናንቱን አያውቅም።»

«ፊደል ያውቃል?»

«ከየት አምጥቶ። እርሻ ላይ ያደገ ሰው ነው፤ እስኪታሰር ድረስ ብዕር ጨብጦ አያውቅም።»

ዋጋሪ ከመቀመጫው ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ። «ስሜ ዋጋሪ ይባላል። አዲስ ተማሪ ነኝ» አለ።

በማግስቱ መጣ። ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«ስሜ ዋጋሪ ይባላል። አዲስ ተማሪ ነኝ።»

በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። በአራተኛው ቀን የሳቀ አልነበረም።

ሌላም ነገር ነበረው...

አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ በስተግራው የአንድ ሰው ቦታ ይተዋል። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ እንኳ ያንን ቦታ አያስነካም። ድርቤ ቂጣ ቋጥራለት ትሄዳለች። ለሁለት ይቆርሰውና ግማሹን ባዶው ቦታ ላይ ያስቀምጣል።

«ለማን ነው ዋጋሪ?» አልኩት አንድ ቀን።

ቂጣውን አየው። እኔን አየኝ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት?» አለኝ።

እየዋሸ አልነበረም። አስተማሪ ነኝ፣ ውሸት አውቃለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀ መንበር ማዘንጊያ ለቁጥጥር መጣ። ገና የቦት ጫማው ድምፅ ከበር ሲሰማ ዋጋሪ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ወደ ግድግዳው ዞረ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግንባሩን ጭቃው ላይ ለጠፈ።

ማዘንጊያ ጀርባውን ለአፍታ አየው። መዝገቤ ላይ ፈርሞ ወጣ።

ሄጄ ትከሻውን ነካሁት። «ዋጋሪ... ሰውየውን ታውቀዋለህ?»

«የትኛውን ሰውዬ?»

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ስለ ማዘንጊያ ብቻ ሳስብ አመሸሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ፊቱ ተቀምጫለሁ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ድሬሰሩን ኢዶሳን ስለ ዋጋሪ ጠየቅኩት። ኢዶሳ የጨመዳ ጓደኛ የነበረ፣ ብዙ የሚያነብ ሰው ነው።

«አንጎል አንድ ጎተራ አይደለም» አለኝ መርፌ እየቀቀለ። «የሆነውን ነገር የሚያስቀምጥበት አንድ ጎተራ አለው። እጅና እግር የለመዱትን የሚያስቀምጥበት ሌላ አለው። ፍርሃትም የራሱ አለው። የዚህ ሰው የመጀመሪያው ነው የፈረሰው። ሌላው ደህና ነው።»

«ስለዚህ ይማራል?»

«ይማራል። መማሩን ግን አያውቅም።»

«እግርም ይማራል?»

«ያንቺ እግር ቤትሽን የሚያገኘው ስታስቢ ነው እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «የሺ፣ ምን ሆነሻል? ከስተሻል።»

«ምንም» አልኩት።

ዋጋሪ ዘንድ ልመለስ። ጀማሪን የምናስጽፈው ከኋላ ቆመን እጁን ይዘን ነው። ብዕሩን ይጨብጣል፣ እኛ እጁን ጨብጠን ሀ እንስላለን። ዋጋሪን ግን ይረሳዋል ብዬ እስከዚያ ብዕር አላስጨበጥኩትም ነበር። ከክሊኒክ በመጣሁ ዕለት ከዋጋሪ ኋላ ቆምኩና እጁን ያዝኩ። እሱ ስለ በሬዎቹ እያወራኝ ነበር። ወደ ሀ ልመራው ስል...

እጁ እምቢ አለኝ።

ጠንከር አድርጌ ያዝኩት። አሁንም እምቢ አለ። ከዚያ እጁ ራሱ መራኝ። ዋጋሪ ደብተሩን አያይም፤ እያየኝ ስለ አንዱ በሬ ስንፍና እየሳቀ ይነግረኛል። እጁ ግን ከታች ይጽፋል... ቀስ ብሎ... ሳይሳሳት።

ደብሪቱ።

«ደብሪቱ ማን ናት?» አልኩት።

«እናቴ ናት» አለ ደስ ብሎት። «ማን ነገረሽ?»

በሌላ እጄ ወንበሩን ይዤ ቆምኩ።

ጨመዳ አዋቂ ሲያስተምር ከሀ አይጀምርም ነበር። «ሀን ከየት ያውቃታል? እናቱን ግን ያውቃታል» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የእናት ስም ነው፤ ከሥሩ የዕለቱ ቀን። የዘመቻው ተቆጣጣሪዎች ከመጽሐፉ ወጣህ ብለው ሁለት ጊዜ ገሥጸውታል። ከእሱ ሌላ እንዲህ የሚያስተምር ሰው አላየሁም። ፊደሉም የእሱ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። በዚህ ጽሑፍ ነው ደብዳቤ ጽፎ ያገባኝ።

እጁን አልለቀቅኩም። የእናቱን ስም ጨርሶ ወደ ታች ወረደ።

ሐምሌ 3 ቀን 1973።

ግንቦት ላይ ነበር አታምጪ ያሉኝ። ሐምሌ ላይ ባሌ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ትናንት የነገረውን ዛሬ ለሚረሳ ሰው፣ በየቀኑ ከመጀመሪያው እየጀመረ ያስተምር ነበር። በስተግራው ተቀምጦ። ቂጣ እየተካፈለ።

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ተናደድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ስንቅ ሳላደርስለት መቅረቴ አንገበገበኝ።

«ዋጋሪ፣ ጨመዳ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ።

ገጹን ቀድጄ ጡቴ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱም አስጻፍኩት። በሦስተኛውም ቀን። ሁልጊዜ ያው ስም፣ ያው ቀን። ሐምሌ 4 የለም። ቀኑን ጽፎ ብዕሩን ሲያስቀምጥ ደግሞ ይነሣና ወደ በሩ ይሄዳል። ስመልሰው ይመለሳል፣ እግሩ ግን ከወንበሩ ሥር አያርፍም።

«የት ልትሄድ ነው?»

«እኔ እንጃ» ይለኛል። «መሄድ አለብኝ?»

ለድርቤ ነገርኳት። ከሷ ሌላ ለማንም አልተነፈስኩም።

«እንልቀቀው» አልኳት። «እግሩ ወደሚያውቀው ይሂድ። እንከተለው።»

«የምታገኚውን ትችይዋለሽ?» አለችኝ።

«ይሄንንም አልቻልኩትም።»

ቅዳሜ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እቤቷ አስጻፍኩት። የእናቱን ስም ጻፈ። ቀኑን ጻፈ። ተነሣ። በሩን ከፈትንለት።

ዋጋሪ ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ፊት ለፊት እንደታሰረ ሰው ገጥሞ ነው። በቡርቃ ጃቶ በኩል ወጣ። ሰው ሰላም ሲለው አይመልስም። ከቤቶቹ አለፈ፣ ከባሕር ዛፉ አለፈ፣ አንድ ሸለቆ ወረደ። ዳመና ነበር። አንድም ጊዜ መንገድ አልጠፋውም፤ አንድም ጊዜ ቀና አላለም።

ሣር የበዛበት ሜዳ ላይ ቆመ።

እዚያ ቦታ ላይ መሬቱ ሰምጧል። ብዙ አይደለም። ርዝመቱ... አንድ ሰው ያህላል።

ዋጋሪ እጆቹን ለያየ። ከዚያ መቆፈር ጀመረ።

በእጁ ምንም አልነበረም። አካፋ የለ፣ ዶማ የለ። ባዶ እጁን ያነሣል፣ ይሰነዝራል፣ ያፍሳል፣ ወደ ጎን ይጥላል። ያነሣል፣ ይሰነዝራል፣ ያፍሳል፣ ይጥላል። ላቡ ወረደ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። አንዲት ሣር ሳትነቀል አንድ ሰዓት ሙሉ ቆፈረ። ድርቤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ታለቅሳለች።

እኔ አላለቀስኩም። ይኸው ነው አልኩ በልቤ። ቦታው ይኸው ነው። ቢያንስ አወቅሁ።

ቆመ።

ቀና ብሎ ግራና ቀኙን አየ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ በደረቱ ተኛና ቀኝ እጁን ወደ ሰመጠው ቦታ ዘረጋ።

«ሱታ...» አለ በሹክሹክታ። «ሱታ...» ቀስ በል ማለቱ ነው።

ጣቶቹ አንድ ነገር ጨበጡ። የክንዱ ሥር ተገታተረ። ጥርሱን ነክሶ ወደ ኋላ ሳበ። ከባድ ነገር የሚስብ ሰው ሲንፏቀቅ አይታችኋል? እንደዚያ ተንፏቀቀ። ደረቱ ሣሩን እየላገ፣ ወደ ኋላ... ወደ ኋላ...

ሰው እየቀበረ አልነበረም። ሰው እያወጣ ነበር።

ተነሣ። እያለከለከ ፊት ለፊቱ ካለው አየር ላይ አፈር ማራገፍ ጀመረ። ዋጋሪ አጭር ነው ብያችኋለሁ። እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ነበር የሚያራግፈው። ትከሻ... ደረት... ከዚያ እንደገና ትከሻ።

ጨመዳ ረጅም ሰው ነበር።

«ጨመዳ» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

የዋጋሪ እጅ አየር ላይ ቆመ። ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ያለው ሁሉ ሲጠፋ አየሁት።

«ስሜ ዋጋሪ ይባላል» አለ። «እዚህ ምን እንሠራለን?»

ድርቤ እጁን ያዘችው። ዝናቡ ሊመጣ ነበር። ያየሁት ምን እንደሆነ አልገባኝም። አውጥቶት ከሆነ ወዴት ሄደ? ቆሞ መሄድ ይችል ነበር? ወይስ ያወጣው ሬሳው እዚያ እንዳይቀር ብሎ ብቻ ነው? ዋጋሪን መጠየቅ ግድግዳ መጠየቅ ነው። እግሬ እስኪዝል ቆሜ ያንን ሣር አየሁት፤ ከዚያ «እንሂድ» አልኩ።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ በተርታ ነው የሚኬደው። እኔ ከፊት ሆንኩ፣ ድርቤ ከኋላዬ፣ ዋጋሪ ከሷ ኋላ። ወደ ቤት ቶሎ ለመድረስ ፈጠን ብለን ነበር የምንሄደው።

አቀበቱ ላይ ማገዶ የተሸከሙ አንዲት አሮጊት መጡብን። ሸክም ያለበት ሰው ሲሆን መንገድ የሚለቀው ሌላው ነው፤ እሳቸው ግን እኛን ሲያዩ ጥጉን ይዘው ቆሙልን።

«አካም ኦልቴ» አሉኝ። «ነጋ»፣ ደህና ነኝ ብዬ አለፍኩ።

«አካም ኦልቴ» አሏት ድርቤን።

«አካም ኦልቴ» አሉት ዋጋሪን።

ከዚያ መንገዳቸውን የሚቀጥሉ መስሎኝ ዞር አልኩ። አልቀጠሉም። ማገዶው ከብዷቸው እያቃሰቱ፣ ጥጉን እንደያዙ፣ አንድ ሰው እስኪያልፍ ያህል ጠበቁ። ከዋጋሪ ኋላ ወዳለው ባዶ መንገድ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«አካም ኦልቴ» አሉ አራተኛ ጊዜ።

መልስ እንደሚሰማ ሰው ዝም አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የድርቤ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ።

አሮጊቷ ወደ እኔ ዞሩ። ተቆጥተው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ቀስ በዪ እንጂ» አሉኝ። «ደክሞታል። እንዲህ ከሮጣችሁ አይደርስባችሁም።»

እርምጃዬን ቀነስኩ።