ባናውን ማን ያጥፈው ነበር

ይሄን ታሪክ ልጻፈው ወይስ ልተወው እያልኩ ብዙ አመነታሁ፣ ምክንያቱም ሰው አልሞተበትም፣ ቤትም አልተቃጠለበትም፣ ሲጠቃለል አንድ ብርድ ልብስ ታጥፎ ተገኘ ነው ነገሩ፣ ይሄ ደግሞ ሊነገር የሚገባው ነው ወይ ብትሉኝ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። ደግሞ እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ጎረቤቶቻችን ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ማውራት ሲጀምሩ ተነስቼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር፣ እመኑኝ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባም ይሄው ጸባዬ ተከትሎኝ ነው የገባው። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ፣ ሳልጨምር እጽፋለሁ።

ለገና መንዝ ውስጥ ወዳለችው ዘመሮ የሄድኩት ለመዝናናት አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም የጋሼ ደምሰው ሚስት አስካለ ወልዳ ነበር፣ አራስ ደግሞ እስከ ክርስትና ድረስ ብቻዋን አትተውም፣ ጋሼ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውል ከእሷ ጋር እንድሆን እናቴ ላከችኝ። ጋሼ ውጭ አገር አገልግላ የገባች አንዲት ግራጫ መኪና አለችው፣ መምህራንንና የመንግሥት ሠራተኞችን በኮንትራት ወደ ገጠር ቀበሌዎች እያመላለሰ ቤቱን የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። ሲመሽ የሚያቆማት ግቢ ውስጥ፣ አስካለና ሕፃኑ ከሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ነው።

የመንዝን ብርድ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፣ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል፣ ሞተርም እንደ ሰው እጅና እግሩ ይደርቃል። ስለዚህ የእኛ አገር ሾፌር ሲመሽ የመኪናውን ኮፈን በባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር በሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ያለብሳል። የጋሼ ባና ጥቁር ነው፣ የሠሩትም ባለፈው ክረምት ያረፉት የአስካለ አባት፣ አባባ ጥላዬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባና ሲሠሩ ኖረው መኪና ላይ አንድ ቀን ሳይወጡ ነው የሞቱት፣ "እሳት በሆዱ ይዞ የሚሮጥ ነገር ላይ አልቀመጥም" ይሉ ነበር፣ እኛም እንስቅባቸው ነበር።

እዚያ በደረስኩ በማግሥቱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የዶርም ጓደኛዬ የመኪና ሻንሲ ቁጥር በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ መኪናዋ ጉድለት ይኑርባት አይኑርባት ማየት እንደሚቻል አሳይታኝ ነበር፣ እኔም ለጋሼ ደስ የሚለውን ነገር ላደርግ ብዬ ቁጥሩን አስገባሁት። ደስ የሚል ነገር አልወጣም። አምራቹ እንዲህ ዓይነቶቹን መኪኖች ለጥገና መልሶ ጠርቷቸዋል፣ የፍሬን ዘይት ወደ ኤሌክትሪኩ ክፍል እየሰረገ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ቆመው እያሉ እንኳ እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ፣ እስኪጠገኑ ድረስ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ ደጅ አቁሟቸው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከዚያ እየሮጥኩ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ መኪናዋን ከግድግዳው አርቃት፣ ባናውም ይቅርባት።"

ነግሬው ሳበቃ ሳቀብኝ። "ገና አንድ ሴሚስተር ሳትጨርሺ ኢንጂነር ሆንሽ?"

"እኔ አይደለሁም፣ የሠራት ፋብሪካ ነው ያለው።"

"ፋብሪካው ዘመሮ አድሮ ያውቃል? ደጅ ባሳድራት ጎማዋን ፈትተው ይወስዱብኛል፣ ያለ ባና ባሳድራት ጠዋት አትነሳልኝም፣ ያን ጊዜ አራሷን ገንፎ ማን ያበላታል?"

"ከዚህ ግድግዳ ወዲያ የተኙት እኮ አስካለና ሕፃኑ ናቸው።"

ይሄን ሲሰማ አዲስ አበባ ወዳለው ወኪል እንድደውል ፈቀደልኝ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅም በነፃ እንደሚጠግኗት ነገረችኝ፣ ቀጠሮው ግን የሥላሴ ዕለት ነው፣ ጥር 7። ጋሼ "በቃ፣ እስከዚያ እንደ ወትሮዋ ትደር" ብሎ ባናውን አለበሳት።

በማግሥቱ ጠዋት "አንቺ ልጅ!" የሚል ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ባናው የድንጋይ አጥሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ኮፈኑ ላይ ውርጭ ተጋግሯል።

"አልነካሁትም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጠጉሩ የተሸለተው በግ ናፍቆት መጥቶ ነዋ!"

በሚቀጥለው ጠዋትም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው፣ ጋሼ ከእኔ ጋር መነጋገር ተወ፣ እኔም ሰው ሲቀየመኝ ምግብ የማይወርድልኝ ሰው ስለሆንኩ ተቸገርኩ። በመጨረሻ አስካለ ከአልጋዋ ሆና "እስቲ ሳትዘረጊው አምጪልኝ" አለችኝ። ሦስት እጥፍ ታጥፎ ነበር፣ ዘርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው።

"እንዲህ የሚያጥፉት አባባ ብቻ ነበሩ፣ ዘርፉ አቧራ እንዳይጠጣ ብለው" አለች።

እኔ በልቤ፣ አራስ ናት፣ የአባቷም ሐዘን ገና አልወጣላትም፣ ይሄ ሐዘን ነው አልኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ ማለፍ እችል ነበር።

የቀጠሮው ዋዜማ ላይ መኪናዋ ለነገው መንገድ ስታርፍ ዋለች። ጋሼ ፀሐይ ስትጠልቅ ባናውን አለበሳትና በላዩ የቆዳ ጠፍር አዙሮ ጠበቅ አድርጎ አሰረው፣ እኔንም "ዛሬ ከዓይኔ አትጠፊም" ብሎ አራሷ ክፍል ውስጥ ከፊቱ አስቀመጠኝ። ራት ገና አልቀረበም። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አስካለ ታባብላለች፣ ጋሼ ስለ ነገው መንገድ ያወራል።

መጀመሪያ ዝም ያለው ሕፃኑ ነው። ቀስ በቀስ አልነበረም፣ አንድ ሰው አፉ ላይ ጣቱን እንዳደረገለት ያህል ቀጥ አለ፣ ዓይኑንም ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ጠጉር ብረት ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ የማይቸኩል ሰው እንደሚጎትተው፣ ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ባና ሲራገፍ የሚያሰማው ድምፅ። ከዚያ አጭር፣ ደረቅ ሳል።

ጋሼን አየሁት፣ እሱም እኔን። ሁለታችንም እዚያው ቁጭ ብለናል።

አስካለ እጄን ጨመቀችኝና "ሽታው አይሸታችሁም?" አለች። ሸተተኝ፣ የተለበለበ ጠጉር።

ጋሼ ባትሪውንና ዱላውን ይዞ ወጣ፣ ተከተልኩት። ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ የግቢው ውሻም ተኝቷል፣ አልጮኸም። ባናው አጥሩ ላይ ነው፣ ሦስት እጥፍ። ጠፍሩ ግን፣ ይሄን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ጋሼ እንዳሰረው ኮፈኑ ላይ ተወጥሮ አለ፣ ቋጠሮው አልተፈታም። ጋሼ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ወዲያው ሰበሰበው። ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሳች መኪና፣ በዚያ ውርጭ፣ ትኩስ ነበረች።

"ግፊ" አለኝ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። እየገፋን በሩን አሳልፈን ከግቢው ውጭ ያለው አውድማ መሐል አቆምናት፣ ስለ ጎማ ሌባ አንድም ቃል አላነሳም።

በንጋታው ብቻውን ወደ አዲስ አበባ ነዳት፣ እኔ አራሷን ትቼ መሄድ አልችልም። በማግሥቱ ሲመለስ መኪናዋ ተጠግናለች፣ እሱ ግን ወሬው ሁሉ ከላዩ ረግፏል። የአስካለ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ነገረን። መካኒኩ የኤሌክትሪኩን ክፍል ሲከፍተው ሽቦዎቹ ቀልጠው ተጣብቀዋል። "ይሄ እኮ ተቀጣጥሎ ነበር፣ ማን አጠፋው?" ብሎ ጠየቀው። መካኒኩ ደግሞ ቀጠለና "ሽቦዎቹ መሐል ያለውን ጠጉርስ ማን ጠቀጠቀው?" አለው።

ጋሼ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታው። ጥቂት የበግ ጠጉር ነው፣ ዳር ዳሩ የተለበለበ። የእኛ ባና ጥቁር ነው ብያችኋለሁ። ይሄ ነጭ ነው።

አስካለ በመዳፏ ይዛ አፍታታችው። "የተባዘተ ነው" አለች፣ "ግን ገና አልተፈተለም፣ አባባ አዲስ ባና ሊጀምሩ ሲሉ እንዲህ ነበር የሚያዘጋጁት።" አጣጥፋ ከሕፃኑ ትራስ ሥር አስገባችው፣ ጋሼም አልከለከላት።

ያን ዕለት ሲመሽ ጋሼ መኪናዋን እዚያው አውድማው ላይ ባናውን አለበሳት። ጠዋት እንደለበሰች ተገኘች፣ በሌሎቹም ጠዋቶች እንደዚያው። ጋሼ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ ግን ወደ ካምፓስ ስመለስ ሻንጣዬን እሱ ተሸክሞ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝና "ያንን ቁጥር ለሌሎቹ ሾፌሮችም እዪላቸው እስቲ" አለኝ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከክፍል ወደ ዶርም ስመለስ ብርድ ልብሴ አልጋዬ ግርጌ ታጥፎ አገኘሁት፣ ሦስት እጥፍ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገብቶ። ጓደኞቼን ጠየቅኳቸው፣ ማናችንም አልነካነውም አሉኝ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የሚሸትም ነገር የለም። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ከዚያ ወዲህ አልጋዬን ከግድግዳው አርቄ ነው የምተኛው። በጋሼ ቤት ግን ነገሩ ያበቃው በሥላሴ ዋዜማ፣ ጥር 6 ቀን ነው።